የተቃኑት ሰባት ጫማዎች

በሬሳው አፍ ውስጥ ቀይ የሴት ጫማ ተሰክቷል። ጫማው የቀኝ እግር ነው፤ ተረከዙ ወደ ላይ ቀስሮ ዝንብ ወሮታል። መርማሪ ዳለንዳ ደፉ ላይ ቆማ ለረጅም ጊዜ ተመለከተችው። ከዚያ ጓንቷን አጠለቀችና ገባች። ሳጅን ሞንጂ መሐረቡን አፍንጫው ላይ ይዞ እውጭ ቀረ።

በቱኒስ አሮጌ ከተማ፣ በአንድ ጠባብ መንገድ ዳር ያለ ቤት ሰገነት ላይ የተሠራ ጠባብ ክፍል ነው። የነሐሴ ሙቀት ከቆርቆሮው ጣሪያ እየወረደ ሽታውን ያበስለዋል። የሻገተ ቆዳ፣ የእግር ላብና የደረቀ ምራቅ ይሸታል። የሞተው ሸድሊ ይባላል፤ የአርባ አንድ ዓመት ሰው፣ የመሬት መዝገብ ቤት ጸሐፊ። በሦስቱ ግድግዳዎች ላይ መደርደሪያ አለ። መደርደሪያዎቹ ላይ ስልሳ ሦስት የሴት ጫማዎች ተደርድረዋል፤ ሁሉም የግራ እግር ናቸው።

«አለቃዬ፣ ይሄ ሰው ነው ወይስ የጫማ ጅብ?» አለ ሞንጂ ከውጭ።

«ሬሳ ነው» አለችው ዳለንዳ። «ጻፍ።»

እየተመለከተች አጻፈችው። ከንፈሩ አልተላጠም፤ ድዱም አልደማም። ጫማው አፉ ውስጥ የገባው ትንፋሹ ካቆመ በኋላ ነው። አጠገቡ የወደቀው ትራስ መሐሉ ላይ ክብ የምራቅ እድፍ አለበት፤ ተኝቶ ሳለ አፍነውታል። ራስጌው ሐኪም ያዘዘለት የእንቅልፍ ክኒን ተቀምጧል። ሰዓቱም የዚያው ሮብ የቀትር እንቅልፍ ሰዓት፣ ከቀኑ ሰባት እስከ ዘጠኝ ባለው ጊዜ ነበር።

ከዚያ ወደ መደርደሪያው ዞረች። ጫማዎቹ በጀርባቸው ተንጋለው፣ ሶላቸው ወደ ሰማይ ተዘርግቷል፤ በዚህ አገር ይህ ፈጣሪን እንደ መድፈር ስለሚቆጠር፣ የተገለበጠ ጫማ ያየ ሁሉ ያቃናዋል። ሶሉ ላይ የበረሃ ነፋስ ያመጣው ደቃቅ አቧራ ተኝቷል፤ አንዳንዱ ላይ ግን አቧራውን አቋርጦ ያለፈ አንድ ንጹሕ መስመር ይታያል፤ የምላስ ስፋት ያለው መስመር። ዳለንዳ የገዛ አፏ በምራቅ ሲሞላ ተሰማት። በግድ ዋጠችው።

ከፍራሹ አጠገብ፣ የታችኛው መደርደሪያ ላይ ያሉት ሰባት ጫማዎች ግን እንደ ሰው ቤት ጫማ በሥርዓቱ ቆመዋል። አንዱን ቀስ አድርጋ አነሣችው። ላዩ ንጹሕ ነው። አቧራው ያለው ከሥሩ፣ ሶሉ ላይ ነው።

«አቧራ ከላይ እንጂ ከታች አይዘንብም» አለች ለራሷ።

በዚያው ምሽት ዩስራ የምትባል ጎረቤት ታሰረች። የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት ናት፤ በመድኃኒት ቤት ትሠራለች። ቀዩ ጫማ የእሷ ነው። ሰገነቷ ከሟቹ ሰገነት ጋር ይገናኛል፤ በዚያ ሰዓት ልብስ ስታሰጣ ታይታለች። ከሁለት ሳምንት በፊት ደግሞ ሸድሊ ደረጃዋ ላይ ተንበርክኮ ጫማዋን ሲልስ በስልኳ ቀርጻ ለዓለም ለቃዋለች። አገሩ ሁሉ አይቶ ስቋል። ዐቃቤ ሕጉ በማግስቱ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ወደ ወህኒ እንደምትወርድ ለዳለንዳ ነገራት። ዳለንዳ እስከዚያ ጊዜ እንዲሰጣት ለመነች፤ ተሰጣት።

በማግስቱ ጠዋት መጀመሪያ ያነጋገረችው እናቱን ነው። ላላ ቤያ ጉልበታቸው ከታሰረ አራት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ከዚያ ወዲህ ወደ ሰገነቱ የሚያወጣውን ደረጃ ወጥተው አያውቁም። ልጃቸው ይህ ነገር የያዘው በሃያ ዓመቱ ነው። ዛዊያ በሚሉት የጸሎት ቤት በር፣ በሠርግ ቤት ደጃፍ፣ ሴቶች ጫማ ባወለቁበት ሁሉ አንዱን እግር ብቻ ይዞ ይጠፋል። እሳቸው ያገኙትን በጨርቅ ጠቅልለው፣ ላዩ ላይ አንድ ሰሃን መቅሩድ ጭነው ለባለቤቷ ይመልሳሉ። ሴቶቹ ጣፋጩን ይቀበላሉ፤ ጫማውን ቆሻሻ ላይ ይጥሉታል። ማንም አይናገርም።

«የሰው ነውር በሰሃን ይከደናል፣ ልጄ» አሉ። «ለሴቶቹ ‹ቀኙን አትጣይው፤ ግራው እስኪመጣ ታገሺኝ› እላቸው ነበር። ይታገሡኛል። ይቺ ዩስራ ግን ሰሃኔን መለሰችብኝ።»

«ከነጣፋጩ፣ ሙሉውን?»

«ሙሉውን። አልቀመሰችውም።» አሮጊቷን ከሁሉ በላይ ያማቸው ይህ ይመስል ነበር።

ታላቅ ወንድሙ ኸሚስ በገበያው ሽቶ ሻጭ ነው። ንግግሩ የተለካ፣ ልብሱ በካውያ የተተኮሰ፣ ሰላት የማይስት ሰው። ሬሳውን ያገኘው እሱ ነበር። ለከሰዓት ሰላት ሊቀሰቅሰው ወጥቶ ከበሩ ላይ እንዳየው፣ ጮኾ እንደወረደ ተናገረ። በአንድ ግቢ እየኖሩ፣ ከወንድሙ ጋር ከአንድ ሰሃን ከበላ አሥራ አምስት ዓመት አልፎታል። ሴት ልጁ ታጭታለች፤ የአማቾቿ ቤተሰብ ሸድሊ ዓርብ ዕለት በቴሌቪዥን ቀርቦ ስለዚህ ጠባዩ እንደሚናገር ሰምተው፣ ከቀረበ ቃሉ ፈረሰ ብለው ልከዋል።

«ክፍሉ ውስጥ ገብተው ያውቃሉ?»

«እኔ? ከደፉ አልፌ አላውቅም። ሲያልፍ እንኳ ትንፋሼን ነው የምይዘው።»

«ምን ዓይነት ጫማ ነበር የሚወስደው?»

ፊቱ ተጨማደደ። «የሴት ጫማ ነዋ። ምኑን ልቁጠርለት?»

የሸድሊ የአእምሮ ሐኪም ዶክተር ሉጥፊ ያስተናገዳት በመስታወት ቢሮው ውስጥ ፈገግ ብሎ ነው። ዘመኑ ተለውጧል አላት፤ ነውር የሚባል ቃል ከመዝገቡ ወጥቷል። ሸድሊን ለዓርቡ ዝግጅት ያዘጋጀው እሱ ነበር፤ ፊቱን ሳይሸፍን፣ ስሙን ሳይደብቅ እንዲናገር። ማክሰኞ ማታ ክፍሉ ድረስ ሄዶ ያነሣቸውን ፎቶዎች እንደ ሠርግ አልበም ገልጦ አሳያት። በፎቶው ላይ የታችኛው መደርደሪያም ሶሉ ወደ ላይ ነበር።

«እንዲያቆም የሚረዳ መድኃኒት ጠይቆዎት ነበር?»

«ለምኖኛል። እኔ ግን ‹የሚያስፈልግህ ማቆም ሳይሆን ራስህን መቀበል ነው› አልኩት።»

«ጫማቸው የተሰረቀባቸው ሴቶችስ ምን ይቀበሉ?»

ዶክተሩ ሰዓቱን ተመለከተ። ማስታወሻ ደብተሩን ግን ሰጣት። በመጀመሪያው ገጽ «የግራ ብቻ፤ ቀኙን እንዲነካ ስጠይቀው አቅለሸለሸው» ይላል። በመጨረሻው ገጽ የሸድሊ ቃል እንዳለ ተገልብጧል፦ «እናቴ ትከድነኛለች፣ እርስዎ ይገልጡኛል፣ ልጅቷ ታሳየኛለች። የሚያስቆመኝ ግን ጠፋ።» ዳለንዳ ይህን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ሰውየውን አሁንም ትጸየፈዋለች። ከጠረጴዛው ማዶ የተቀመጠውን ዶክተር ግን አብልጣ ተጸየፈችው።

ዩስራ በጣቢያው ማረፊያ ክፍል ውስጥ እግሯን አጣጥፋ ተቀምጣ ነበር። ሦስት ጊዜ እንደተሰረቀች፣ ሦስተኛው እርጥብ ሆኖ እንደተመለሰላት ነገረቻት። ማክሰኞ ዕለት በንዴት የቀረውን ቀይ ጫማዋን በአጥሩ ላይ አሻግራ ግቢያቸው ውስጥ ወርውራዋለች።

«ለምን?»

«ለስድብ ነዋ። ለእሱ የቀኝ ጫማ ጫማ አይደለም፤ የሰፈሩ ሴት ሁሉ ያውቃል። ይዘውት ይቀመጡ ብዬ ነው።»

«ገደልሽው?»

«አስመለሰኝ እንጂ አልገደልኩትም» አለች ዩስራ። «እጄን እሱ ላይ የማሳርፍ ይመስልዎታል?»

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉም በሟቹ ግቢ ተሰበሰቡ። ላላ ቤያ በሎሚው ዛፍ ጥላ ሥር ወንበር ላይ ናቸው። ኸሚስ ከኋላቸው ቆሟል። ዶክተሩ ጥላ ፍለጋ ግድግዳውን ተደግፏል። ዩስራ እጇ በካቴና ታስሮ ከሞንጂ አጠገብ ቆማለች። ከበሩ ውጭ የሰፈሩ ሰው ይንሾካሾካል።

«አንድ ሰዓት አለኝ፤ ስለዚህ ባጭሩ» አለች ዳለንዳ። «ሸድሊ ተኝቶ ሳለ ታፈነ። ከሞተ በኋላ ጫማው አፉ ውስጥ ገባ። በቁጣ የገደለ ሰው ሬሳ አያስጌጥም። ጫማው የገባው የዩስራ መሆኑን እንድናይ ነው። ያንን ጫማ ማክሰኞ እዚህ ግቢ ወረወረችው። ላላ ቤያ፣ ሰምተዋል?»

«ሲወድቅ ሰማሁ። ተነሥቼ ስደርስ የለም። ሸድሊ ያነሣው መስሎኝ።»

«ሸድሊ አያነሣውም። ጫማው የቀኝ ነው። እርስዎ ይህን ቢያስታውሱ ኖሮ ያኔውኑ ይጠረጥሩ ነበር። ገዳዩ ግን ጭራሽ አያውቀውም ነበር። የሟቹን ነውር ሊያስመስል ሲል ሟቹ በሕይወቱ የማይነካውን ጫማ አፉ ውስጥ ከተተ። እዚህ ከቆማችሁት ይህን የማያውቅ ማን ነው? ዩስራ ታውቃለች። ላላ ቤያ ሃያ ዓመት ‹ቀኙን አትጣሉ› ሲሉ ኖረዋል። ዶክተሩ በገዛ እጁ ጽፎታል።»

ማንም ኸሚስን አላየም። ሁሉም አለማየታቸው ግን ያስታውቅ ነበር።

«ይህ ግምት ነው» አለ ኸሚስ ድምፁን ሳያነሣ። «ወንድ ልጅ የሴት ጫማ ግራና ቀኝ ባያውቅ ወንጀል ሆነ?»

«አልሆነም። ስለዚህ ወደ መደርደሪያው እንሂድ። ማክሰኞ ማታ የተነሣው ፎቶ ላይ ስልሳ ሦስቱም ጫማዎች ሶላቸው ወደ ሰማይ ነው። ሮብ ከሰዓት ሰባቱ ተቃንተዋል፤ ፍራሹ አጠገብ የተቀመጠ ሰው እጁ የሚደርስባቸው ሰባቱ። ሸድሊ አያቃናቸውም፤ የሚወደው ሶሉን ነው። ገዳዩ ትንፋሽ መቆሙን እስኪያረጋግጥ እዚያ ተቀምጧል። ሲቀመጥ እጁ ዝም ብሎ መቀመጥ አልቻለም። ዛሬ ጠዋት አራታችሁም የጣት አሻራ ሰጥታችኋል። በሰባቱ ጫማዎች ላይ ከሸድሊ ሌላ የአንድ ሰው አሻራ ብቻ አለ። ኸሚስ፣ እርስዎ ከደፉ አልፈው አያውቁም ብለውኛል።»

ኸሚስ አፉን ከፈተ። በዚያች ቅጽበት ሌላ ምክንያት ሊፈጥር ይችል ነበር፤ ሬሳውን ሳገኘው ገብቼ ነበር ሊል ይችል ነበር። ያለው ግን ይህ ነው፦

«ሶላቸውን ወደ ሰማይ አድርገው ተንጋለው ነበር። ወደ ፈጣሪ ፊት! እንዴት እንደዚያ ትቻቸው ልውጣ?»

ላላ ቤያ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ዳለንዳ ሄዳ ከኸሚስ ፊት ቆመች። ከዚህ በፊት እርስዎ ስትለው የነበረውን ሰው አሁን አንተ አለችው።

«አየህ፣ የአንተም እጅ አልታዘዘህም። ስምህን ያረከሰውን ወንድምህን ከማፈን ያልከለከለህ እጅ፣ ሰባት የተሰረቁ ጫማዎችን በአክብሮት አቃና። ለጫማው ክብር አገኘህለት። ወንድምህን ግን ሃያ ዓመት ተጸየፍከው እንጂ አንድ ቀን አላየኸውም። ብታየው ኖሮ የትኛውን እግር እንደሚወስድ ታውቅ ነበር።»

«ልጄን ሊያጠፋት ነበር» አለ ኸሚስ። «ዓርብ ዕለት፣ በስሙ፣ በስሜ! ድሮ ቢሆን እናቴ ትከድነው ነበር። አሁን ሁሉም ይግለጠው ካላችሁ በኋላ ምን አደርግ?»

ዶክተሩ ከግድግዳው ተላቆ፣ ስለ ጥፋተኝነት ስሜት አንድ ነገር ሊያብራራ ጀመረ። ዳለንዳ ሳትዞር ለሞንጂ ዶክተሩን ወደ ውጭ እንዲያወጣው ነገረችው። ላላ ቤያ የዳለንዳን ቀሚስ ይዘው ጎተቷት።

«ልጄ፣ በእንቅልፉ ሞተ ብለሽ ጻፊልኝ። አንዱን ቀብሬዋለሁ፤ አንዱን ተዪልኝ።»

«ይህቺን ልጅስ በእሱ ፈንታ ላስራት?»

አሮጊቷ ዩስራን አዩአት። የዳለንዳን ቀሚስ ግን አልለቀቁም። ዩስራ ፊቷን አዞረች። ሞንጂ ካቴናውን ከእጇ ፈትቶ ኸሚስ ላይ አጠለቀው።

አሥር ሰዓት ከመሙላቱ በፊት ዩስራ ጣቢያ ሄዳ የመፈቻ ወረቀቷን ፈረመች። ስልኳና ቦርሳዋ ተመለሱላት። በሩ ተከፍቶላት ግን አልሄደችም፤ ከዳለንዳ ጠረጴዛ ፊት ያለውን ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ነጻ ነሽ» አለቻት ዳለንዳ።

«ከሦስት ወር በፊት ቪዲዮ የሚባል ነገር ሳላስብ እዚህ መጥቼ ነበር። አንድ ሰው እየሰረቀኝ፣ እያሳደደኝ ነው፤ አስቁሙልኝ ብዬ። አልተጻፈልኝም። ተሳቀብኝ።»

«ማን ነው የሳቀብሽ?»

ዩስራ ወደ በሩ ተመለከተች። በሩ አጠገብ የቆመው ሳጅን ሞንጂ ቆቡን አውልቆ በእጁ ማዞር ጀመረ። ደም ወደ ጆሮው ወጣ።

«ያኔ ቢጻፍ፣» አለች ዩስራ፣ «እሱም ይቆም ነበር፤ ምናልባት። እኔም አልቀርጸውም ነበር። አሁን ጻፉልኝ።»

«ተከሳሹ ሞቷል። ሕጉ የት ያደርሰዋል?»

«የትም አያድርሰው። ጻፉልኝ።»

ዳለንዳ ሞንጂን ተመለከተችው። ሞንጂ መጥቶ ከጠረጴዛው ማዶ ተቀመጠ፤ የአቤቱታውን መዝገብ ጎትቶ አዲስ ገጽ ገለጠ።

«ከየት ልጀምርልሽ፣ እህቴ?» አለ አንገቱን ሳያቀና።

«ከመጀመሪያው» አለች ዩስራ፤ ሞንጂም መጻፍ ጀመረ።