ይቅርታ፣ ቤት ተሳስቼ ነው

እኔ እንዲህ ያለ ነገር ከማያምኑት ወገን ነኝ፣ ከማያምኑት ብቻ ሳይሆን ከሚስቁት፣ ወልቂጤ ውስጥ ፊዚክስ ሳስተምር አስራ ሁለተኛ ዓመቴ ነው፣ ተማሪዎቼ ጉብሬ መንገድ ላይ ነጭ የለበሰች ሴት ባጃጅ አስቁማ ተሳፍራ መሃል መንገድ ላይ ጠፋች ሲሉኝ «ሒሳብ ሳትከፍል?» ብዬ ክፍሉን በሳቅ የማፈርስ ሰው ነበርኩ። እናቴ ቸሃ ውስጥ ስታሳድገኝ ሲመሽ አታፏጭ፣ የሚሰማው ብዙ ነው ትለኝ ነበር፣ እኔ ደግሞ ሆን ብዬ እያፏጨሁ ነው ያደግኩት። አሁን ግን አላፏጭም። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ፣ ከፈለጋችሁ ሳቁ፣ በእናንተ ቦታ ብሆን እኔም እስቅ ነበር።

እኔና ባለቤቴ ወይንሸት ከተጋባንበት ቀን ጀምሮ ዘጠኝ ዓመት የኖርነው እማማ ኸይሪያ የሚባሉ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ግቢ ውስጥ ተከራይተን ነው። ቤት ልበላት እንጂ አንዲት ክፍል ናት፣ ከግቢው ጀርባ ከተደረደሩት ሰርቪስ ቤቶች የመጨረሻዋ፣ አልጋውና ቁምሳጥኑ ከገቡ በኋላ ለመንቀሳቀሻ የሚተርፈው ከበሩ እስከ መስኮቱ ሰባት እርምጃ ነው፣ በእኔ እርምጃ ማለት ነው፣ ምክንያቱም ልጅ ሆኜ ከዛፍ ወድቄ ግራ እግሬ ከቀኙ ያጥራል፣ ስሄድ አንዱን እረግጣለሁ ሌላውን እጎትታለሁ፣ ዷ… ሽርር፣ ዷ… ሽርር፣ ተማሪዎቼ ፈተና ላይ ሳልደርስባቸው የሚነቁብኝም በዚሁ ነው። ልንሠራው የምናስበው ቤት፣ የቦታው ነገር፣ የቆርቆሮው ነገር፣ የግንበኛው ነገር ሲያስጨንቀኝ በዚያች ሰባት እርምጃ ስመላለስ ነው ዘጠኙን ዓመት የጨረስኩት።

ተከራይቶ የኖረ ሰው ያውቀዋል፣ የተከራይ ሳቅ እንኳን ልክ አለው፣ ሬዲዮ ቀንሱ፣ ውሃ ዛሬ የናንተ ተራ አይደለም፣ በር ከሦስት ሰዓት በኋላ አይከፈትም። ግን ደግሞ እማማ ኸይሪያ ወይንሸት ስታምጥ ሌሊቱን ሙሉ እጇን ይዘው ያደሩ ሴት ናቸው፣ ልጃችን ቤቲ የተወለደችውም፣ አፏን የፈታችውም እዚያው ነው፣ እስከ አራት ዓመቷ ድረስ «ር» ማለት አትችልም ነበር፣ ራት ሲደርስ «አባዬ፣ ላት ደልሷል» እያለች ሱሪዬን ትጎትታለች፣ እኔም በሳቅ እሞታለሁ። አሁን ስምንት ዓመቷ ነው፣ ይህን ስናወራባት ታፍራለች።

እንግዲህ እግዚአብሔር ረዳንና ጉብሬ ላይ ቤት ሠራን። ጭቃ ቤት ሆኖ በሲሚንቶ የተለሰነ፣ ሁለት መኝታና ሳሎን ያለው፣ በሩ ገና ቀለም ያልተቀባ፣ ግን የራሳችን። ክረምቱ ሊገባ ሲል አንድ ቅዳሜ ጠዋት ዕቃችንን ፒክአፕ ላይ ጫንን፣ ወይንሸት ከማለዳው ጀምሮ ታለቅሳለች፣ «ምን ያስለቅስሻል፣ ቤት እኮ ነው ያገኘነው» ስላት «አውቃለሁ፣ ዝም በለኝ» ትለኛለች፣ እማማ ኸይሪያ ደግሞ ሩቅ አገር እንደሚሄድ ሰው ለመንገድ ብለው ቆጮ ጠቅልለው ይዘው ቆመዋል። እኔ ጮክ ብዬ እስቃለሁ፣ እቀልዳለሁ። ግን እውነቱን ልናገር፣ ፍራሹ ወጥቶ ክፍሏ ባዶ ስትቀር ገብቶ ማየት አቃተኝ፣ ዞር ብዬ እንኳን ሳላያት በሩን ዘጋሁና ጓጉንቸሩን ቆለፍኩ። ጓጉንቸሩን የገዛሁት እኔ ነኝ፣ ሌላ ቁልፍ የለውም። «የቀረ ዕቃ አለኝ እማማ፣ ቁልፉን ሰሞኑን አመጣለሁ» ብዬ ኪሴ ከተትኩት። ምንም የቀረ ዕቃ አልነበረኝም። ለምን እንደዋሸሁ አላውቅም፣ ወይም አውቃለሁ።

አዲሱ ቤት የገባን ቀን ማታ ሬዲዮውን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት፣ ማንም ቀንስ አላለኝም፣ ትንሽ ቆይቼ ራሴው ቀነስኩት። ደስ አላለኝም ማለቴ አይደለም፣ ቤቲ ከክፍል ክፍል ስትሮጥ ማየት ብቻውን ሌላ ነገር ነው፣ ግን አንድ ነገር ጎደለኝ፣ ሌሊት ስነቃ ወደ ለመድኩት በኩል እዞርና ግድግዳ እጋጫለሁ፣ ጎረቤት ሲያስል አይሰማም፣ እማማ ኸይሪያ ለሱብሂ ሰላት ሲነሱ የሚንኳኳው የውሃ ጆጋቸው አይሰማም። ትምህርት ቤቴ ከሳቸው ግቢ የአምስት ደቂቃ መንገድ ቢሆንም በሌላ በኩል እየዞርኩ ነበር ባጃጅ የምይዘው። ቁልፉም ኪሴ ውስጥ እንዳለ ነው።

በሦስተኛው ሳምንት እማማ ኸይሪያ ደወሉልኝ።

«መምህር፣ ምን በደልኩህ?» አሉኝ፣ ሰላምታ እንኳን አላስቀደሙም።

«ኧረ እማማ፣ ምን ሆኑ?»

«በየቀኑ ከአስር ሰላት በኋላ እየመጣህ ትገባለህ፣ ጀርባህን እያየሁ፣ አንድ ቀን ዞር ብለህ እማማ እንደምን ዋሉ አትልም። ዘጠኝ ዓመት እንጀራ ቆርሰናል እኮ፣ ወላሂ አሳዘንከኝ።»

ሳቅኩኝ። ዓይናቸው ደክሟል፣ ሌላ ተከራይ አይተው ይሆናል አልኩ፣ ቁልፉን ባለመመለሴም አፍሬ ስለነበር «እመጣለሁ እማማ፣ ይቅርታ» ብዬ ዘጋሁት።

አልሄድኩም። ከአራት ቀን በኋላ የአስተማሪዎች ክፍል ተቀምጬ ደብተር ሳርም፣ ውጭ ዝናቡ ያወርደዋል፣ እንደገና ደወሉ። አሁን ድምፃቸው ሌላ ነው፣ በሹክሹክታ ነው የሚያወሩት።

«የት ነህ?»

«ትምህርት ቤት ነኝ፣ እማማ።»

የዝናቡ ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማኝ።

«ትናንት በሩ ላይ ቆሜ ጠራሁህ፣ አቤት አልከኝ፣ ከዚያ ዝም። ዛሬም አለህ። ስማ።»

ስልኩን ወደ በሩ አስጠጉት መሰለኝ ዝናቡ ራቀ። መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ ሰማሁት፣ እመኑኝ፣ ደብተሩ ከእጄ ወደቀ፣ ዷ… ሽርር፣ ዷ… ሽርር። ሳላስበው እየቆጠርኩ ነበር፣ ሰባተኛው ላይ ቆመ፣ ዞረ፣ እንደገና ጀመረ።

ጃንጥላ እንኳን ሳልይዝ ነው የወጣሁት። መንገድ ላይ ለራሴ ያልሰጠሁት ምክንያት አልነበረም፣ የቆርቆሮ ማስተጋባት ነው፣ የኔትወርክ ነው፣ ሌባ ነው፣ ሌባ ቢሆን እንዴት ደስ ባለኝ! የግቢውን በር ገፍቼ ስገባ እማማ ኸይሪያ ሻርፓቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ቆመዋል፣ ሲያዩኝ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ።

«ቢስሚላህ! ከየት መጣህ አንተ?»

«ከትምህርት ቤት ነዋ፣ አሁን አላወራንም?»

«በዚህ በኩል አልፈህ ነው እኮ የገባኸው» አሉ ወደ ሰርቪስ ቤቶቹ እያመለከቱ፣ ከዚያ ወደ እግሬ አዩ። እኔም አየሁ። በረንዳው ሲሚንቶ ላይ እርጥብ የጫማ ዱካ አለ፣ አንዱ ሙሉ፣ ሌላው የተጎተተ፣ አንዱ ሙሉ፣ ሌላው የተጎተተ፣ እስከ መጨረሻዋ ክፍል ድረስ ሄዶ በሩ ሥር አለቀ። የሚመለስ ዱካ የለም። በሩ ላይ ጓጉንቸሬ እንደቆለፍኩት ተንጠልጥሏል።

ቀስ ብለን ተጠጋን። እማማ ክንዴን ይዘውኛል፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን አያወጡም። መጀመሪያ የመጣው ሽታ ነው፣ የሚቁላላ ሽንኩርት፣ በበሩ ስንጥቅ በኩል ይመስል ቀጥ ብሎ ፊቴ ላይ። ከዚያ እርምጃው። ከዚያ አንድ ሰው አሳለ፣ እኔ ጠመኔ ከያዝኩ በኋላ እንደማስለው፣ ሁለት ጊዜ አጠር አጠር አድርጎ፣ «ወይኔ!» ብሎ ተጣራ፣ ወይንሸትን ወይኔ ብሎ የሚጠራት እኔ ብቻ ነኝ።

«አቤት» አለች፣ ሚስቴ፣ ከውስጥ።

ወዳጆቼ፣ እስከዚህ ድረስ ፍርሃቴ የምሸከመው ዓይነት ነበር። ያልቻልኩት ቀጥሎ የመጣውን ነው። አንዲት ሕፃን እየሳቀች «አባዬ፣ ላት ደልሷል» አለች።

ሰውዬው ሳቀ። ከልቡ ሳቀ። እኔ እንደዚያ ከሳቅኩ ስንት ጊዜዬ እንደሆነ አላውቅም፣ ደስተኛ ሰው ነበር፣ ይኼን የሚጠራጠር የለም፣ እኔም ቆሜ ሰማሁት፣ ከዚያ እጄን አየሁት፣ ቁልፉን ከኪሴ አውጥቷል። መቼ እንዳወጣሁት አላውቅም። መግባት ፈለግኩ፣ አልዋሻችሁም፣ ከምንም ነገር በላይ ገብቼ አልጋችንን በምትጋርደው የጨርቅ መጋረጃ ሥር መቀመጥ ፈለግኩ።

«አትክፈት» አሉ እማማ፣ ጥፍራቸው ክንዴ ውስጥ ገባ። «ልጄ፣ በአላህ፣ አትክፈት።»

የተናገሩት በሹክሹክታ ነው፣ ግን ውስጥ ሁሉም ነገር ቀጥ አለ። ሳቁም፣ የድስቱም ድምፅ። ከዚያ የኔ ድምፅ፣ ሌላ የምለው የለኝም፣ የኔው ድምፅ፣ «በር ላይ ሰው አለ እንዴ?» አለ። እርምጃው ወደኛ መጣ። ዷ… ሽርር። ከመስኮቱ እስከ በሩ ስንት እንደሆነ አውቃለሁ፣ ግን ቆጠርኩ። በሰባተኛው በሩ ሥር ቆመ። በመካከላችን አንዲት ሳንቃ ናት ያለችው፣ ሲተነፍስ ይሰማኛል። በሩ ከውስጥ ቀስ ብሎ ተገፋ፣ ጓጉንቸሩ ቅጭል አለ።

«ማንን ፈልገው ነው?» አለኝ።

አንቱ አለኝ። እንግዳ ሰው በር ላይ ሲመጣብኝ እኔም እንዲሁ ነው የምለው። ልመልስለት አፌን ከፈትኩ፣ የማንን ስም ልጥራ? የራሴን? አፌ ላይ የመጣልኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ይቅርታ» አልኩት፣ «ቤት ተሳስቼ ነው።»

ከዚያ ለስለስ አድርጎ «ችግር የለም፣ ሰፈሩ ያሳስታል፣ በደህና ይግቡ» አለኝና እየጎተተ ተመለሰ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። አምስተኛውን አልሰማሁትም። ሽታውም የለም። ዝናቡ ብቻ ቆርቆሮው ላይ ቀረ።

እማማ ኸይሪያ ናቸው ቀድመው ነፍስ የዘሩት፣ የዚህች ሴት ልብ ምን ዓይነት እንደሆነ ልገልጽላችሁ አልችልም፣ «አሁን ክፈት» አሉኝ፣ «የኔ ቤት ነው፣ ቢስሚላህ ብዬ እገባለሁ።» ጓጉንቸሩ ሦስተኛ ሙከራ ላይ ተከፈተ። ባዶ ናት። ግድግዳው ላይ የቀሩ ምስማሮች፣ ጥግ ላይ የሸረሪት ድር፣ ወለሉ ላይ አቧራ፣ አቧራው ላይ ምንም ዱካ የለም። ዘጠኝ ዓመት የኖርንባት ክፍል ያቺን ያህል ጠባብ መሆኗን ያን ቀን ነው ያየሁት። እማማ ቁርኣን እየቀሩ ግድግዳውን በእጃቸው ዳበሱ፣ አልጋው የነበረበት ጋ ሲደርሱ እጃቸውን ቶሎ አነሱ።

«ምን ሆኑ?»

«ይሞቃል» አሉኝ።

እኔ አልነካሁትም። ቁልፉን እዚያው እጃቸው ላይ አኖርኩና ወጣሁ። የግቢው በር ድረስ ሸኙኝ፣ ከዚያ እንደ ልጅ ትከሻዬን ይዘው «የለቀቅክ ቀን ክፍሏን ገብተህ ተሰናብተሃታል?» አሉኝ። አልተሰናበትኩም አልኳቸው። «እህ» አሉ፣ ምን ማለታቸው እንደሆነም ደፍሬ አልጠየቅኩም።

ክፍሏን በኋላ ሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተከራዩዋት፣ አንዱን መንገድ ላይ አግኝቼው እንደዘበት «ቤቱ እንዴት ነው?» ስለው «አሪፍ ነው ቲቸር፣ ጸጥ ያለ» አለኝ። ይህ ሊያስደስተኝ ሲገባ እንቅልፍ ነሳኝ። እነዚያ ሦስቱ ከዚያ ከወጡ ታዲያ የት ሄዱ? ልጁን ሌላ ልጠይቀው አልኩና አልቻልኩም፣ ለማምነው ሰው እንኳን ላወራው አልቻልኩም፣ እማማ ኸይሪያም አሁን ስጠይቃቸው ከፊቴ በፊት እግሬን ነው የሚያዩት።

ወይንሸት ይህን አታውቅም። አልነገርኳትም፣ ምን ብዬ? እሷ አዲሱን ቤት ለምዳለች፣ ጓሮዋ ውስጥ ጎመን ተክላለች፣ ቤቲም የሰፈር ጓደኞች አፍርታለች፣ የሚያስጨንቃት ነገር ቢኖር የኔ አመል ነው፣ «ቤትህ ደርሰህ ለምንድን ነው ዝናብ ላይ የምትቆመው? ጎረቤት ያየሃል እኮ፣ አታንኳኳም?» ትለኛለች፣ እኔም ቁልፍ ስፈልግ ነው፣ ስልክ ሳወራ ነው እላለሁ።

ስልክ አላወራም። ሁልጊዜ አመሻሽ ላይ ከባጃጅ ወርጄ በሬ ላይ ስደርስ ከማንኳኳቴ በፊት ጆሮዬን በሩ ላይ አድርጌ እሰማለሁ። ወይንሸት ታወራለች፣ ቤቲ ትመልስላታለች፣ ይስቃሉ። እሰማለሁ፣ ሦስተኛ ድምፅ፣ የኔው ድምፅ፣ ይመጣ እንደሆነ ትንሽ እጠብቃለሁ፣ ከዚያ ነው የማንኳኳው። እስካሁን የሰማሁት የሁለቱን ብቻ ነው።