ዳርጌ እንዴት ይጠጣ ነበር?

ፖሊሱን ሃምሳ አለቃ ዶላሞን ከሬሳው ይልቅ ሬሳውን የከበቡት ሰዎች አስጠሉት። ሬሳ ቢያንስ አይዋሽም። የጂንካ ጉም ገና ከተራራው አልተነሣም፤ በአቶ ቦሼ ጓሮ ካለችው አንዲት ክፍል ደጃፍ ግን ግማሹ ቀበሌ ተኮልኩሎ ከንፈሩን ይመጥጣል።

ሟቹ ዳርጌ የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት ሚሊሺያ ነበር። ኦጋዴን ላይ የነዳጅ ቦቴ ፈንድቶ ፊቱን አቃጠለውና ከስምንት ወር በፊት ወደ አገሩ ተመለሰ። ያኔ ከንፈር የመጠጠለት አልነበረም፤ ብቅ ሲል ልጆቻቸውን ወደ ጓዳ ያስገቡ ነበር። ኋላ መውጣቱን ተወው። ኮቴ በሰማ ቁጥር ፊቱን በሻሽ ሸፍኖ ወደ ግድግዳ ይዞራል፤ ከእንቅልፉም እየጮኸ ይነቃል። አሁን አልጋው ላይ በጀርባው ተኝቷል። ከአልጋው ሥር ባዶ ጣሳ ወድቋል፤ ጣሳውም አፉም የከብት መዥገር መድኃኒት ይሸታሉ።

«ራሱን ገድሏል፤ ምን ምርመራ ያሻዋል?» አለ የቀበሌው ሊቀመንበር ጥላሁን። «በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። ለቅዳሜው የጀግኖች አቀባበል ላዘጋጀው ስመጣ፣ በመስኮት ጣሳውን አንሥቶ በአንድ ትንፋሽ ሲጨልጠው አየሁት። በሩን ገፍቼ ስገባ አበቃለት። መልኩን መቋቋም አቃተው፤ ምስኪን!»

የአማኞች ሽማግሌ የሆኑት አከራዩ አቶ ቦሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ ራሱን ያጠፋ ሰው ከእኛ መቃብር አይገባም። ከከተማው ውጭ ይቀበር።»

ከሩቅ መንደር ሮጣ የደረሰችው የሟቹ እህት ሐና እግራቸው ላይ ወደቀች። «አባባ፣ ከእናቴ ጎን ልቅበረው! እንደ ውሻ ጫካ አይጣልብኝ!»

«ሥርዓቱ ነው፣ ልጄ። ሙቀቱም አያቆየውም፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይወጣል።»

ዶላሞ ሁሉንም አስወጥቶ በሩን ዘጋ። የሟቹ ሸሚዝና ጋቢ ላይ አንዲት ጠብታ መድኃኒት የለም። ትራሱ ከላይ ንጹሕ ነው። ሲገለብጠው ግን ዳርጌ ጠባሳውን የሚቀባው ቫዝሊን የሰው ፊት በሚያህል ስፋት ተለጥፎበታል። መስኮቱ ላይ ባለች ቆርቆሮ ውስጥ ደግሞ በስንዝር ልክ የተቆረጡ፣ ውስጣቸው ክፍት የሆነ የፓፓያ ቅጠል ዘንጎች ቆመዋል። ሁሉም ደረቅ ናቸው።

ከዚያ አንድ በአንድ ጠራቸው።

«አብረውት በልተው ያውቃሉ?» አላቸው አቶ ቦሼን።

«አልዋሽም፣ ሃምሳ አለቃ። ምግቡን ደጃፍ አስቀምጠን እንሄዳለን። ፊቱን ለማየት ፈራሁ።»

ስምንት ወር በአንድ ግቢ! ዶላሞ ሽማግሌውን ናቃቸው፤ ግን እውነት ተናግረዋልና ጻፈላቸው።

ጥላሁን ደረቱን ነፍቶ ተቀመጠ። «እኔማ እንደ ወንድም ነበርኩ። አንድ ማዕድ ነው የቆረስነው።»

«ሲጠጣስ እንዴት ነበር፣ ጓድ ሊቀመንበር?»

«እንዴት ይጠጣል? እንደ ማንም ሰው ነዋ! ብርጭቆውን አንሥቶ ፉት።»

«የጣሳውንም ነገር ጨምረው እዚህ ይፈርሙልኝ።»

ፈረመ። የቀበሌው ማኅተም ካልተመታበትም ብሎ ነበር።

መጨረሻ ላይ ኤልሳቤጥ ገባች። የዳርጌ እጮኛ ነበረች፤ ሞተ የሚል ወሬ ሲመጣ ለጥላሁን ልጅ ለአበራ ተዳረች። «የካደችው» እያለ ከተማው ይተፋባታል። ከቀሚሷ ሥር ትንሽ የወተት ቅል አወጣች።

«በድብቅ አመጣለት ነበር። መጀመሪያ ‹ዙሪ፣ አትዪኝ› ይለኝ ነበር፤ ጀርባዬን ሰጥቼ ቅሉን እይዝለታለሁ። ባለፈው ሳምንት ግን ‹ተመለሺና እዪኝ› አለኝ። አየሁት። ቅዳሜ መድረክ ላይ ሻሹን ፈትቶ በማን ፋንታ እንደዘመተ እንደሚናገር ነገረኝ።» ቅሉን መሬት ላይ አስቀመጠች። «ባሌ ይቅርታ እንዲጠይቀው ብዬ ትናንት ነገርኩት። ባሌ ለአባቱ ነገረ።»

ስምንት ሰዓት ላይ ዶላሞ ሁሉንም አልጋው ዙሪያ ሰበሰበ። ሊቀመንበሩን ለሟች ክብር ሲባል ሽጉጡን ውጭ እንዲተው ለምኖት ነበር፤ ክብር የምትለው ቃል ደስ አሰኝታው ተወ። ዶላሞ ጋቢውን ከሟቹ ፊት ገለጠ። ሁሉም አንገቱን አቀረቀረ።

«ቀና በሉ! ስምንት ወር ያላያችሁት ይበቃል። አቶ ቦሼ፣ ከንፈሩን ይዩ።»

ሽማግሌው ተጠጉ። «ከንፈር የለውም። የታችኛው ከአገጩ ጋር ተጣብቋል።»

«ከጣሳ ቢጠጣ ይይዝለታል?»

«ሁሉም ደረቱ ላይ ይፈስሳል።»

«ደረቱ ደረቅ ነው። ዳርጌ የሚጠጣው የፓፓያ ዘንግ ጉሮሮው ድረስ አስገብቶ ነበር። ይህን ለማወቅ አብሮት መቀመጥ ይበቃል፤ ከኤልሳቤጥ በቀር የተቀመጠ የለም። የዛሬዎቹ ዘንጎች ደረቅ ናቸው። ጓድ ጥላሁን ግን ከጣሳ ሲጨልጥ አይቻለሁ ብለው ፈርመዋል።»

«ከሩቅ... ተሳስቼ ይሆናል!»

«አልተሳሳቱም፤ ፈጠሩት። በትራሱ አፈኑት፤ ፊቱ እዚህ ላይ ታትሞ ቀርቷል። ትራሱን ገልብጠው መለሱና ከሞተ በኋላ መድኃኒቱን አፉ ውስጥ ጠብ አደረጉ። ሰው ሁሉ ‹መልኩ ገደለው› እንደሚል ያውቃሉ። የልጅዎን የአበራን ስም ከዘመቻው ዝርዝር ፍቀው የእሱን እንደጻፉ ቅዳሜ በአደባባይ ሊናገር ነበር።»

«ውሸት ነው!»

«እውነት ነው፣ አባባ» አለች ኤልሳቤጥ አማቷን ፊት ለፊት እያየች። «አበራ ራሱ ነግሮኛል።»

ጥላሁን እጁን ወደ ወገቡ ሰደደ። ባዶ ነው። ደጃፍ የቆመው ፖሊስ ገብቶ ይዞት ወጣ፤ በየስብሰባው ያጨበጨበለት ሕዝብ አሁን ሊተፋበት ተጋፋ። ዶላሞ ሁለቱንም እኩል ናቀ።

አቶ ቦሼ ዓይናቸውን ጠረጉ። «መቃብሩን ከእናቱ ጎን አስቆፍራለሁ፣ ሐና ልጄ» አሉና ጋቢውን መልሰው ፊቱን ሊሸፍኑ ጎንበስ አሉ።

ሐና እጃቸውን ያዘች። «ተዉት፣ አባባ። ተቆፍሮ እስኪያልቅ አይሸፈንም። በሕይወት ሳለ ያላየው ሁሉ ገብቶ ይየው።»

ዶላሞ በሩን ከፍቶ ቆመና አንድ በአንድ አስገባቸው። ሳያይ የወጣ አልነበረም። ከንፈሩን የመጠጠም አልነበረም።