ሦስተኛው ጥያቄ

እትዬ ዘነቡ የወደቁት ትርሲት ዝም ስላለች ነው።

የደረጃው መደገፊያ መላላቱን አሥራ ዘጠኝ ቀን ቀደም ብላ በገዛ እጇ አውቃ ነበር፤ ለማንም አልተናገረችም። ትናንት ጠዋት እትዬ ዘነቡ እንደ ወትሯቸው የጨው አቧራውን ሊጠርጉ ባልዲያቸውን ይዘው ሲወጡ መደገፊያው ከእጃቸው ጋር አብሮ ሄደ። ደግነቱ ቀጣዩ ማረፊያ ቅርብ ነበር። የእጃቸው አንጓ ተሰብሮ ተረፉ።

ደረጃው በጥላው ሦስተኛ እግር ላይ ዙሪያውን የተጠመጠመ ነው። ሰመራን ከፀሐይ የሚከልለው ጣሪያ፣ ነዋሪው በአጭሩ «ጥላው» የሚለው፣ በአሥራ ሁለት እግር ይቆማል። በየእግሩ ውስጥ ትምህርት ቤቱም፣ ዳቦ ቤቱም፣ ቀበሌውም አለ። በሦስተኛው እግር ሰባተኛ ፎቅ ላይ ጠያቂ የሚሠራበት ቤተ ሙከራ ይገኛል።

ጠያቂ የምስር ፍሬ የምታክል ናት፤ ከጆሮ ጀርባ ትለጠፋለች። የለበሳት ሰው የሚያግል ሐሳብ፣ ፍርሃት ወይም ንዴት ወይም ቅናት፣ ሲመጣበት ትሰማለች፤ ግለቱን ከመቶ ትለካለች፤ ከዚያ በራሱ ድምፅ ሦስት ነገር ትጠይቀዋለች። ማስረጃህ ምንድን ነው? ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? እውነት ከሆነስ ምን ታደርጋለህ? የድሮ የአስተሳሰብ ሐኪሞች ይህንኑ ሥራ በወረቀትና በእርሳስ፣ በሳምንት አንድ ሰዓት ይሠሩት ነበር። ሰው የሚጎዳው ከደረሰበት ነገር ይልቅ ሳይመረምር ባመነው ሐሳብ ነው ይሉ ነበር።

የቤተ ሙከራው ሕግ ደግሞ አጭር ነው፤ ያልለበስከውን አታልብስ። አዲስ ሞዴል ለከተማው ከመውጣቱ በፊት ሠራተኞቹ አርባ ቀን ይለብሱታል፤ በየማታውም በእጃቸው አራት ዓምድ ይሞላሉ። ምን ሆነ፣ ምን አሰብኩ፣ ስንት ጋልኩ፣ ምን አደረግኩ። አሁን አሁን ደብተሩን ሁሉም ትቶታል፤ ጠያቂዋ ራሷ ትመዘግብ የለ?

ያልተወችው ትርሲት ብቻ ነበረች። ምክንያቷ ትጋት አልነበረም። አሁን የሚሞከረውን ዘጠነኛ ሞዴል፣ «ዘጠኝ»ን፣ የሠራችው ፍሬገነት ስለሆነች ነው።

ፍሬገነት ከሦስት ዓመት በፊት ሽቦ ከሽቦ መለየት ሳትችል መጣች። ያስተማረቻት ትርሲት ናት። ዛሬ በመስኮቱ ዳር ያለው ወንበር የፍሬገነት ነው። ኃላፊው ጋሽ ዘለቀ በአንድ ስብሰባ ላይ «ፍሬ» ያሉት አሥራ አራት ጊዜ ነው፤ ትርሲት ቆጥራለች። «ትርሲት» ያሉት አንድ ጊዜ፣ እሱም በሩን እንድትዘጋ። ስለዚህ በየማታው ደብተሯን ከፍታ ትጽፍ ነበር፤ በዘጠኝ ላይ አንዲት እንከን ፍለጋ።

በአርባኛው ቀን ጠዋት፣ ለፊርማ ከመግባቷ በፊት፣ አገኘቻት።

ሃያኛ ቀን። ምን ሆነ፦ ደረጃ ስወጣ መደገፊያው ተነቃነቀ። ምን አሰብኩ፦ ሰው ይጥላል። ስንት ጋልኩ፦ አርባ አራት። ምን አደረግኩ፦ ባዶ።

ወደ ኋላ ገለጠች። ከዘጠነኛው ቀን ወዲህ አራተኛው ዓምድ በሙሉ ባዶ ነው። በሃያኛው ቀን ጠያቂዋ ያለቻትን አስታወሰች፤ «አንድ ብሎን ላላ ማለት ሰው ወደቀ ማለት አይደለም። ነገር እያጋነንሽ ነው።» ግለቷ በስድስት ሰከንድ ወደ አምስት ወረደ። ሦስተኛው ጥያቄ አልመጣም።

ምክንያቱ ለመገመት አይከብድም ነበር። ፍሬገነት ዘጠኝን ያሠለጠነችው በአንድ መለኪያ ነው፤ ግለት ቶሎ ይውረድ። ሦስተኛው ጥያቄ ደግሞ ግለትን መጀመሪያ ከፍ ያደርጋል፤ ምን ታደርጋለህ ሲሉት የማይሞቀው ማን ነው? መሣሪያዋ ቀስ በቀስ ተወችው። የቀሩትን ሁለቱንም መጠየቅ ትታ ራሷ ትመልሳቸው ጀመር።

ትርሲትን ደስታ ወረራት። ንጹሕ ደስታ አልነበረም። የፍሬገነት ወንበር ከመስኮቱ ዳር ሲነሳ ታያት።

«ስህተት ያገኘሽው ስለምትቀኚባት ነው» አላት የገዛ ድምፅዋ ከጆሮዋ ጀርባ። «መደገፊያ ሁሌም ይላላል። ፍሬገነት ታከብርሻለች።»

ትከሻዋ ረገበ። እውነቷን ነው፣ አለች በልቧ፤ ምን ያህል ክፉ ብሆን ነው። ደብተሩን ልትዘጋ እጇን ዘረጋች።

ከዚያ ባዶው ዓምድ ዓይኗ ገባ፤ ጥፍሯን ከጆሮዋ ጀርባ ከታ ጠያቂዋን ላጠቻት።

አርባ ቀን ያልተሰማት ሁሉ በአንድ ጊዜ ተመለሰ። መስኮቱ፣ አሥራ አራቱ «ፍሬ»፣ የእትዬ ዘነቡ እጅ። እስኪበርድ ብትጠብቅም አልበረደም። ደብተሩንና ያችን ምስር ይዛ ገባች።

ጋሽ ዘለቀና ፍሬገነት ክብ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጠዋል። የመልቀቂያው ቅጽ መሐላቸው ነው። ሁለት ፊርማ አለበት።

«ነይ እንጂ» አሉ ጋሽ ዘለቀ። «የጎደለን ያንቺ ፊርማ ብቻ ነው። ሰኞ ሰማንያ ሺህ ጆሮ ይጠብቀናል።»

«ከመፈረሜ በፊት ጋሼ፣ ዛሬ በየት በኩል ነው የወጡት?»

«በደረጃው ነዋ። አሳንሰሩ ለእናንተ ለወጣቶቹ ነው።»

«መደገፊያውን አዩት?»

«አየሁት። ተንጠልጥሏል።»

«ታዲያ ምን አደረጉ?»

«ግድግዳውን ይዤ ወጣሁ» አሉ።

ትርሲት ያን ጊዜ ነው ያየችው። በቅንድቦቻቸው መካከል አንድ መስመር ብቅ አለች፤ ሰውየው አንድ ነገር ሊገባቸው ነበር። ከዚያ መስመሯ ጠፋች፤ ፊታቸው ሜዳ ሆነ። «ይሠራል መቼም» አሉ በለሰለሰ ድምፅ። «ለሁሉም ጊዜ አለው።»

ደብተሩን ከፍታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችና የሃያኛውን ቀን ነገረቻቸው፤ ባዶውን ዓምድ አሳየቻቸው። ፍሬገነት እስከ መጨረሻው በትዕግሥት አዳመጠቻት። ትዕግሥቷም ያበሳጫል።

«ትርስዬ፣ ቅር አይበልሽና» አለች፣ «ይሄ የመደገፊያው ጉዳይ ነው ወይስ የኔ?»

«የሁለቱም።»

«አየሽ፣ ቅናት…»

«አዎ ቅናት ነው። አሁን ብትለኪኝ ሰማንያ እሆናለሁ። መደገፊያውም ወድቋል። አንዱ ሌላውን አያጠፋውም። ስለቀናሁብሽ ብቻ ልክ አይደለሁም፤ ስለቀናሁብሽ ብቻ ደግሞ አልተሳሳትኩም። ይሄን እኮ መጀመሪያ ሳምንት ነው ያስተማርኩሽ።»

«አስተማሪነቷን መቼም አትረሳም» አሉ ጋሽ ዘለቀ ሳቅ ብለው።

«ጋሼ፣ መዝገቡን መክፈት የሚችሉት እርስዎ ነዎት። የሠራተኛውን ሁሉ፣ ስም ሳይኖረው። ‹መደገፊያ› የሚለውን ይፈልጉልኝ። ከኔ ሌላ ካልተገኘ ወዲያው እፈርማለሁ።»

ጋሽ ዘለቀ ጣታቸውን ጠረጴዛው ላይ አንሸራተቱ። ጽሑፍ በመስታወቱ ላይ ወጣ። መስመሮቹ አሥራ አንድ ነበሩ፤ የቤተ ሙከራው ሠራተኛ ደግሞ አሥራ አንድ ነው።

መደገፊያው ላልቷል፤ አንድ ሰው ይወድቃል። አርባ አንድ፣ ወደ ሦስት ወረደ። እትዬ ዘነቡ በዚህ ነው የሚያልፉት። ስልሳ፣ ወደ ስድስት ወረደ። ይሄን ብሎን አንድ ሰው ያጥብቀው እንጂ። ሠላሳ ስምንት፣ ወደ ሁለት ወረደ። እንዲህ እያለ ይወርዳል። ሁሉም ያውቅ ነበር። ሁሉም በስድስት ሰባት ሰከንድ ውስጥ ሰላም አግኝቷል።

«ሁለተኛው የኔ ነው» አለች ፍሬገነት። «እትዬ ዘነቡ ያልኩት እኔ ነኝ።»

«አውልቂያትና ድገሚው» አለቻት ትርሲት።

«ለምን?»

«ይሄን ገጽ አንብበሽ እስክትጨርሺ ብቻ። ከዚያ መልሰሽ ልበሻት።»

ፍሬገነት ጋሽ ዘለቀን አየች፤ እሳቸው መስታወቱን ያያሉ። በጥፍሯ ላጠቻትና መዳፏ ላይ ያዘቻት። ማንበብ ጀመረች። ስምንተኛው መስመር ላይ ስትደርስ አቆመች።

«ከሦስተኛው ጥያቄ በኋላ» አለች፣ «ስንት ሰከንድ ነው ዝም የሚባለው?»

«እስክትመልሺ ድረስ።»

«እሱን ነው እኔ የማልችለው።» ድምፅዋ የሌላ ሰው ድምፅ ሆነ፤ ሻካራ፣ የመጣችበት ዓመት ድምፅ። «ስታስተምሪኝ ጠይቀሽኝ ዝም ትዪ ነበር። ሻይሽን እየጠጣሽ። እኔ በላብ ስጠመቅ አንቺ መልሱን ባታገኚውም ግድ የለሽም፣ መቀመጥ ትችያለሽ። ማታ ቤቴ ገብቼ እሰድብሽ ነበር። ዘጠኝን ለማን የሠራኋት ይመስልሻል? ያ ዝምታ እንዳይኖር ነው። ያንቺን ያህል መሆን ስላልቻልኩ፣ ያንቺን ያህል መሆን የማያስፈልግበት ዕቃ ሠራሁ።»

ትርሲት ይህን ቃል ሁለት ዓመት ጠብቃዋለች። በሐሳቧ ስንት ጊዜ አስብላታለች፤ በተባለ ጊዜ ደግሞ ሁሉ ነገር እንደሚቀላት ታውቅ ነበር። አሁን ተባለ። ግለቷን ብትፈትሽ አንድ ነጥብ እንኳ አልወረደም። ወንበሩ አሁንም ያምራል።

«እና እትዬ ዘነቡስ?» አለች። «እውነት ከሆነ ምን ታደርጊያለሽ?»

ዝምታው ረዘመ። ከውጭ በነፋሱ የሚነዳው የጨው አቧራ መስኮቱን ሲቧጥጥ ይሰማል። ፍሬገነት የመዳፏን ምስር አየች፤ ትርሲትን አየች፤ ከዚያ አንገቷን ሰበር አድርጋ ከጆሮዋ ጀርባ መልሳ ለጠፈቻት። ስድስት ሰከንድ አልሞላም። ፊቷ ፈታ አለ፤ ትንሽ ፈገግም አለች።

«ይቅርታ፣ ከብዶኝ ነበር» አለች። «አየሽ፣ አሁን ደህና ነኝ። አንቺም ልበሻት ትርስዬ። ለምን ራስሽን ትጎጂያለሽ?»

ደግነቷ እውነተኛ ነበር። የሚያስፈራውም እሱ ነው።

ትርሲት ቅጹን ወደ ራሷ ሳበች። ለፊርማ በተተወው መስመር ላይ «አልፈርምም፤ ሦስተኛው ጥያቄ የለም» ብላ ጻፈችና ያችን ምስር ወረቀቱ ላይ አስቀመጠቻት።

«ሌላ ፈራሚ መሾም እችላለሁ እኮ» አሉ ጋሽ ዘለቀ። ቁጣ የለባቸውም።

«ይሹሙ። እሱም አርባ ቀን ይለብሳል፣ ሕጉ ነው። ደብተሩን ግን በእጁ ይጻፍ። አራቱንም ዓምድ።»

የጋሽ ዘለቀ የቀኝ እጅ ጣት ወደ ጆሯቸው ጀርባ ሄዳ እዚያው ቆመች። ያሳክካቸው ይሁን ሌላ፣ ትርሲት መለየት አልቻለችም፤ የምታውቀውን ብቻ እንድታምን ራሷን ገሠጸች።

ከመሣሪያው መሳቢያ መፍቻ አወጣች። ብሎኖች ከሚቀመጡበት ቆርቆሮ አራት ወፋፍራሞች መርጣ ኪሷ ከተተች።

«የት ነው?» አለች ፍሬገነት ከወንበሯ። ከጀርባዋ ሰመራ በጥላው ሥር ተዘርግታ ትታያለች፤ ከዚያ ቦታ በእርግጥ በጣም ታምራለች።

«ደረጃው ጋ። ከትናንት ጀምሮ ስንት ሰው ወጥቶ ወርዶበታል፤ እስካሁን ተንጠልጥሏል። እኔም ጠዋት አልፌዋለሁ።»

በሩ ላይ ስትደርስ አንድ ሐሳብ መጣባት፤ ሰኞ ያ ወንበር አሁንም የፍሬገነት ነው፣ እኔ ደግሞ ቀናተኛ ተብዬ እቀራለሁ። ስልሳ አምስት ይሆናል። ከጆሮዋ ጀርባ ማንም ምንም አልጠየቃትም። ማስረጃሽ ምንድን ነው፣ አለች ለራሷ፤ ጥሩ ማስረጃ ነበራት። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል፤ ብዙም አልታያትም። ምን ታደርጊያለሽ።

መፍቻውን በቀኝ እጇ አጥብቃ ያዘች፤ ወጥታ በሩን ከኋላዋ ዘጋችው።