ድንቡሼን ለአባቷ ላደርስ ስል

መጀመሪያ የሰማሁት ድምፁን ነው።

ሊፍቱ በሁለት ፎቅ መሀል ቀጥ ብሎብን ነበር። ውስጥ ያለነው እኔ፣ ድንቡሼ፣ እና ያን ቀን የገዛሁት ትልቅ ሻንጣ ነን። ድንቡሼ ገና ሁለት ዓመት አልሞላትም። በሩን በትንሽ ቡጢዋ እየደበደበች «ክፈት! ክፈት!» ትላለች። እኔ የምሠራበት ክሊኒክ ካርድ ክፍል ስቆም ውዬ መምጣቴ ነው፤ እግሬ አልችል ስላለኝ ሻንጣውን መሬት ላይ ዘርግቼ ውስጡ ተቀመጥኩበት።

«እህቴ፣ ትሰሚኛለሽ?» አለ ከላይ የመጣ የወንድ ድምፅ። «የሊፍት ቴክኒሻኑ ነኝ። ስንት ናችሁ?»

«አንድ ተኩል» አልኩት። እየቀለድኩ መሆኔ ለራሴም አልታወቀኝም።

ሲስቅ ሰማሁት። «የምትጮኸው ግማሿ ናት?»

«አዎ፣ ድንቡሼ እንላታለን።»

«ክፈት!» አለች ድንቡሼ።

«አቤት፣ ክፈት ነኝ» አላት። «መጣሁልሽ።»

ስሟን ጠርቶ ያባበላት ያህል ዝም አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለእሷ ስሙ ክፈት ሆነ።

በሩ ሲከፈት የፎቁ ወለል ግንባሬ አካባቢ ነበር። ሰውየው በሆዱ ተኝቶ፣ ጉንጩ ግራሶ ተቀብቶ ወደ ታች ያየናል። ዓይን ለዓይን ተጋጨን።

«ሻንጣ ውስጥ ገብተሽ ነው የምትሄጂው?» አለኝ።

ሳቄ መጣ። ከሳቅኩ ሰንብቼ ስለነበር ጉንጬን አመመኝ።

ድንቡሼን አስቀድሞ ሳብ አደረጋት። ቀጥሎ ሻንጣውን ሲጎትት አንዱ ጎማ ተሰብሮ ቀረ። መጨረሻ ላይ የእኔን እጅ ያዘ።

«ጎማውን እኔ ነኝ የሰበርኩት፤ እኔው እሠራዋለሁ» አለ። እጄን ግን ቶሎ አልለቀቀም።

በማግስቱ ከሥራ ሲወጣ መጣ። ቤቱን ሲያይ በር ላይ ቆሞ ቀረ። ሳሎኑ የልጅ ልብስ፣ ዳይፐር፣ የሳል ሽሮፕ፣ ጡጦና ሹራብ ተዘርግቶበት መርገጫ የለውም። እኔ ሻንጣው ውስጥ አንድ ሳስገባ ድንቡሼ ሁለት ታወጣለች። ያወጣችውን ደግሞ ሶፋ ሥር ትወስደዋለች።

«እርዳታ ነው የምትሰጥሽ» አለ።

«በዚህ አያያዟ መንገዱን በእግር ብንጀምረው ይሻለናል።»

ለሰው ሁሉ የድንቡሼ እናት ነው የምመስለው። እሷም «እማ» ትለኛለች። የወለደቻት ግን ታናሽ እህቴ ናት፤ ወልዳት ብዙም ሳትቆይ አረፈች። ባሏ ያኔም ሥራ ላይ ባሕር ማዶ ነበር። መጥቶ ቀበራት፣ ልጁን አቅፎ አለቀሰ፣ ከዚያ ባዶ እጁን ተመለሰ፤ ሕፃን ይዞ ለመግባት ወረቀቱ አላለቀለትም። አሁን አለቀ። አድርሼያት፣ እስክትለምደው አብሬያት ቆይቼ፣ እመለሳለሁ። የእኔ ሐሳብ ይሄ ነበር።

ጎማው ተሠራ። ከጎማው በኋላ ዚፑ ሰበብ ሆነ። ከዚፑ በኋላ ሰበብ መፈለጉን ተወው፤ ዝም ብሎ ይመጣል።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ልብስ እያጣጠፍኩ ግድግዳ ተደግፌ እንቅልፍ ጣለኝ። ስነቃ አብራን የምትኖረው እናቴ፣ እማዬ፣ ጓዳ ናት፤ እሱ ወለሉ ላይ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል። ድንቡሼ ጭኑ ላይ ተኝታለች።

«እግሬ ከሞተ ቆየ» አለኝ በሹክሹክታ።

«ለምን አልቀሰቀስከኝም?»

«ሁለታችሁንም ለመቀስቀስ አንጀት ከየት ይምጣ?» ፊቴን አየና «ደክሞሻል» አለኝ።

እህቴ ከሞተች ወዲህ ሰው ሁሉ በርቺ፣ ጠንክሪ፣ አንቺ እኮ ጀግና ነሽ ሲለኝ ነው የከረመው። ደክሞሻል ያለኝ ሰው አልነበረም። ለከርሞ ብዬ የገዛሁላትን ጫማ አንስቼ አሳየሁት።

«ይሄ ልክ ሲሆናት እኔ አላያትም» አልኩት። «ስጠቀልለው ነው የገባኝ።»

ጫማውን ከእጄ ወስዶ፣ ካልሲ ጠቅጥቆበት፣ ሻንጣው ጥግ ላይ ቀስ ብሎ አስቀመጠልኝ። ያን ጊዜ ነው ልቤ የሄደው።

ከዚያ በኋላ ድንገት ጠፋ። ስደውል «ሥራ በዝቶብኝ ነው» ይላል፤ ድምፁ የሌላ ሰው ድምፅ ሆኗል። ያልተኛ ፊት፣ በየቀኑ የሚረጭብኝ ወተት፣ የሰው ልጅ በጀርባዬ… ማን ይፈልገኛል? ብዬ ለራሴ ነገርኩት። በሩ በተንኳኳ ቁጥር ግን ድንቡሼ «ክፈት!» እያለች ትሮጣለች። እኔም ከኋላዋ እሮጣለሁ። ጎረቤት ሆኖ ይገኛል።

መሄጃችን ሲቃረብ አንድ ቀን ከክሊኒክ ስመለስ ምድር ቤት ሊፍቱን ፈትቶ ሲሠራ አገኘሁት።

«ጠፋህ» አልኩት።

«አለሁ።» ዓይኑን ከብሎኑ አላነሳም።

«እሷ በር በር ስታይ ነው የምትውለው።»

መፍቻው እጁ ላይ ቆመ። «እኔስ መች አስቻለኝ» አለ። «ግን ትዳር ልትገባ የተነሳች ሴት ቤት መመላለስ ነውር ነው። እንኳን ደስ ያለሽ ልል ነበር… አፌ እምቢ አለኝ።»

«የምን ትዳር?»

ቀና አለ። «ከልጅቷ አባት ጋር ነዋ። እናትሽ ነገሩኝ። እዛው ልትጠቃለሉ ነው አሉኝ።»

ቦርሳዬን እግሩ ሥር ጥዬ ደረጃውን ወጣሁት። እማዬ የድንቡሼን ቀሚስ እየተኮሰች ነበር።

«እማዬ፣ ለማን ነው የዳርሽኝ?»

ቀና አላለችም። «አልዳርኩሽም። ቢሆን ደስ የሚለኝን ነው የተናገርኩት።»

«ገና ያልሆነውን እንደሆነ አድርገሽ? ለእሱ?»

ካውያው ቀሚሱ ላይ ወዲያ ወዲህ አለ። «አንዷን ቀበርኩ» አለች። «ልጇን ደግሞ ነገ አባትየው የሚያመጣት፣ የማላውቃት ሴት ልታሳድግብኝ ነው። አንቺ አጠገቧ ካለሽ እኔም እንቅልፍ ይወስደኛል ብዬ ነው። ምን ላድርግ?»

«እኔስ? እኔ የለሁም እንዴ?»

ካውያውን ነቀለችው። ዓይኖቿ ሞልተዋል።

«ሁልጊዜ ስላለሽ ነው መሰል የረሳሁሽ» አለች።

ልቆጣት መጥቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ። የተተኮሰውን አብረን አጣጥፈን ጨረስን። ከዚያ ወረድኩ። ቦርሳዬን አቅፎ ደረጃው ላይ ተቀምጧል።

«የእህቴ ባል ለእኔ ወንድሜ ነው» አልኩት። «ግን አልዋሽህም። እሷን ትቼ ለመመለስ አንጀት ይኖረኝ እንደሆነ አላውቅም።»

«እኔም ከእሷ ጋር አልሻማሽም» አለኝ። «ሂጂ፣ አድርሻት። እዛ ሆነሽ ልብሽ ያለሽን አድርጊ። መቅረትም ቢሆን ግን አንቺው ንገሪኝ፤ ከሰው አልስማው።»

«ብመለስስ?»

እጁን በጨርቅ ጠረገ፤ የጠረገውን መልሶ ጠረገው። «ብትመለሽማ ቀድሜሽ አውሮፕላን ማረፊያ እቆማለሁ።»

የሄድን ቀን ጠዋት ሻንጣው አልዘጋ አለ። እሱ ድንቡሼን አቅፎ ላዩ ላይ ተቀመጠበት፤ እኔ ተንበርክኬ ዚፑን ጎተትኩ። ሲዘጋ ድንቡሼ ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ «ክፈት» አለችው። ስሙን ትጥራው ሻንጣውን መልሰህ ክፈተው ትበለው አላወቅንም። ሳቀላት። ከዚያ የሚታጠብ መስሎ ወደ መታጠቢያ ቤት ገባና ቆየ።

የበረራውን ነገር ባልተርከው ይሻለኛል። ሲነሳ ጮኸች፣ ሲያርፍ ጮኸች፣ መሀል ላይ ቀሚሴ ላይ አስመለሰች። አቅፌያት በመተላለፊያው ስመላለስ የማላውቃቸው ሰዎች ጉልበት ላይ እየተደናቀፍኩ ይቅርታ ስል ነበር። ስንደርስ ጨርቅ ሆኜ ነበር።

አባቷ ከእሷ የሚበልጥ አሻንጉሊት ይዞ ቆሟል። ስታየው ቀሚሴ ውስጥ ተደበቀች። ሊነጥቀኝ አልሞከረም። ሰው ወዲያ ወዲህ በሚልበት አዳራሽ ወለል ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠና ጠበቃት። ለዚህ ወደድኩት።

ቀስ በቀስ ለመደችው። መጀመሪያ ገላዋን ሲያጥባት ታለቅስ ነበር፤ በኋላ እሱን ካላረጠበች አትወጣም። አንድ ጠዋት አርፍጄ ስነሳ የሳቅ ድምፅ ሰምቼ ወደ ኩሽና ሄድኩ። በማንኪያ እርጎ ታጎርሰዋለች፤ ግማሹ ጺሙ ላይ ነው። በሩ ላይ መቆሜን ያስተዋለ የለም። ደስ አለኝ። ደስ ብሎኝ እዛው ቆሜ አለቀስኩ።

ያን ቀን ልጅቷ ስትተኛ ጠረጴዛው ጋር ጠራኝ።

«ብትቆዪ ቤቱ ቤትሽ ነው» አለኝ፤ እጁን እያየ። «እናትሽም ደውለውልኛል። ለድንቡሼ ስል… ላገባሽ ዝግጁ ነኝ።»

«አንተስ ትፈልጋለህ?»

«አንቺን ሳይ እህትሽን ነው የማየው። ይሄ ደግሞ ላንቺ ግፍ ነው።»

«እንግዲያው አንጠያየቅ።»

ሁለታችንም በአንድ ጊዜ ተነፈስንና ሳቅን። ከቀብሩ ወዲህ ሲስቅ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው።

«አገር ቤት የሚጠብቅሽ ሰው አለ እንዴ?» አለኝ።

«ሊፍት ይጠግናል» አልኩት። ለምን በሥራው እንደመለስኩ እንጃ፤ ፊቴ ግን ቀሪውን ተናገረ።

ስሄድ ተደብቄ አልወጣሁም። ተንበርክኬ «እማ ልትሄድ ነው። አባ አለልሽ። እኔም እደውልልሻለሁ» አልኳት። ጉንጬን መታ መታ አደረገችኝና «ቻው» ብላ ወደ መጫወቻዋ ተመለሰች። ቻው ምን ማለት እንደሆነ አልገባትም። እኔ ግን ገብቶኝ ነበር። አባቷ ሻንጣዬን እስከ ታክሲው ተሸከመልኝ፤ እንዴት እንደሄድኩ አላስታውስም።

ከመሳፈሬ በፊት አገር ቤት ለሚጠብቀኝ ሰው ደወልኩለት።

«እየመጣሁ ነው።»

«እርግጠኛ ነሽ?» አለኝ።

«ደክሞኛል፣ አታስደጋግመኝ።»

ስደርስ ከሰዉ ሁሉ ፊት ቆሟል። የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሷል፤ ጥፍሩ ሥር ግራሶው አለ። ላቅፈው ሄጄ ደረቱ ላይ ተንሰቀሰቅኩ። የማለቅሰው እሱን በማግኘቴ አልነበረም፤ እሱም አውቆታል። አታልቅሺ አላለኝም። ሰው እየገፋን ሲያልፍ፣ እስኪወጣልኝ ቆመልኝ።

ታክሲ ውስጥ ገብተን ትንሽ እንደሄድን «እንጋባ ልልሽ አስቤ ነበር» አለኝ። «ግን ዛሬ አልልሽም። ዛሬ ተኚ።»

«አልከው እኮ።»

«እ?»

«አልከው። እኔም እሺ ብያለሁ።»

ምን እንደመለሰልኝ አልሰማሁም። ትከሻው ላይ ተኝቼ ነበር።

በማግስቱ የነቃሁት ከቀትር በኋላ ነው። ማንም አልቀሰቀሰኝም፤ ጆሮዬ ግን የድንቡሼን ጩኸት ፈልጎ አጣ። ከኩሽና የእማዬ ድምፅ ይመጣል።

«ሽንኩርት ነው የምትከትፈው ወይስ ብሎን ነው የምትፈታው?»

«ቢላዋው ነው እናቴ፣ አልቆርጥ ብሎኝ።»

«ቢላዋውማ ምን አደረገህ! ወዲህ አምጣው፣ እንዲህ ነው።»

በሩ ላይ ቆምኩ። ዓይኑ በሽንኩርት ቀልቶ እንባው ይወርዳል፤ እማዬ ክንዱን ይዛ ታሳየዋለች። ጠፍንጋ እንደያዘችው ዘወር ብላ ረጅም ጊዜ አየችኝ። ስለ ትዳርም፣ ያኔ ለእሱ ስላለችውም ምንም አላነሳችም። ልረዳቸው እጅጌዬን ስሰበስብ በእግሯ ወንበር ገፋችልኝ።

«ተይው» አለችኝ። «ዛሬ ምንም አትነኪም። ቁጭ በይ።»

ቁጭ አልኩ።