የእማማ ደጊቱ ጠማማ ሰይፍ

በዚያ ዓመት በናሕርማ ምድር የገደል ማሚቶ ዝም አለ። እንጨት ቆራጩ ከሸለቆው አፋፍ ቆሞ ጓደኛውን ሲጣራ ድምፁ ሄዶ ቀረ። ከወንዝ ማዶ ለማዶ የሚጠራሩ ሴቶች ተራራው አልመልስ ሲላቸው ደነገጡ። ሽማግሌዎች «ምድሪቱ አኩርፋለች» አሉ። ምድሪቱ ግን አላኮረፈችም፤ ተዘርፋ ነበር።

ሌባውን ሁሉም ያውቀዋል፤ ስሙን ደፍሮ የሚጠራ ግን አልነበረም። የመንግሥቱ መምህራን አለቃ የሆነው ሊቀ ቃል ዘንጋድ፣ በሸንጎላ ተራራ ዋሻ የሚኖረውን ማሚቶ የሚባል ጥንታዊ ፍጡር በነሐስ ሰንሰለት አስሮ «አንድ ቃል» ወደሚባለው የትምህርት አዳራሹ ወሰደው። ከዚያ ወዲህ ለትምህርት ወደዚያ አዳራሽ የሚገባ ልጅ ሁሉ የገዛ ድምፁን ለማሚቶ አስረክቦ፣ በምትኩ የዘንጋድን ድምፅ ተቀብሎ ይወጣል። ሕፃናት በጎርናና የሽማግሌ ድምፅ «ገብቶናል ጌታችን» ይላሉ። ምን እንደገባቸው የሚጠይቃቸው የለም፤ ወላጆችም ልጆቻችን ተማሩልን ብለው ይደሰታሉ።

ከአዳራሹ ርቃ፣ ከአንድ ትልቅ ዝግባ ሥር እማማ ደጊቱ የምትባል ሴት ታስተምር ነበር። እሷ ዘንድ አለንጋ የለም፤ በቃል የሚሸመደድ ነገርም የለም። ልጅ ሲመጣ ጭቃ ወይም ብረት ወይም ገመድ ታስይዘዋለች። «እማማ፣ እንዴት ነው የሚሠራው?» ካላት «እኔ ምን አውቄ! ሞክረውና ንገረኝ» ትለዋለች። የተበላሸ የመጀመሪያ ሥራ አይጣልም፤ ዝግባው ላይ ይሰቀላል። የተሰነጠቀ ገንቦ፣ አንድ እግሩ ያጠረ በርጩማ፣ ክዳኑ እምቢ ያለ ሳጥን በነፋስ ይወዛወዛሉ። ከሁሉም በላይ፣ ጫፉ ላይ፣ የራሷ የደጊቱ ስህተት ተሰቅሏል። በወጣትነቷ የቀጠቀጠችው ሰይፍ ነው፤ ወደ ቀኝ ሲሰነዝሩት ወደ ግራ ያመልጣል። ሥራው ተበላሽቶበት የሚያለቅስ ልጅ ካለ ወደ ላይ እያሳየች «ከዚያ የባሰ ስትሠራ ያን ጊዜ አብረን እናለቅሳለን» ትለውና ትስቃለች።

ዘንጋድ ስለዚህ ሳቅ ሰማ። አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ወታደሮቹን አስከትሎ መጣ፤ ልጆቹን አስይዞ ደጊቱን ከዝግባው ጋር አሰራት።

«ለእነዚህ ልጆች ምን አስተማርሻቸው?» አላት።

«ምንም። እነሱ ናቸው የተማሩት» አለችው።

ችቦውን በገዛ እጁ ለኮሰ።

ትርንጎ ያን ጊዜ ከሰል ልታመጣ ወርዳ ነበር። እናትና አባት የሌላት፣ ደጊቱ ከጡት ማስጣያ ዕድሜዋ ጀምራ ያሳደገቻት ወጣት ናት። ስትመለስ ዛፉም እማማም አመድ ሆነዋል። በአመዱ ውስጥ ያገኘችው ያን ጠማማ ሰይፍ ብቻ ነው፤ ያ ሁሉ እሳት እንኳ አላቀናውም። አላለቀሰችም። ግንባሯን በአመድ ቀባችና ማለች።

«በዚህ አመድ እምላለሁ! ዘንጋድን በእማማ ሰይፍ እገድለዋለሁ። ከመሞቱ በፊት ስሟን ጆሮው ላይ እጮህበታለሁ። ማን እንደገደለው ሳያውቅ አይሞትም። እስከዚያች ቀን ድረስ ስሟ ከአፌ አይወጣም፤ ለእሱ አስቀምጬዋለሁ!»

ወደ አዳራሹ በሚወስደው መንገድ፣ አንድ ወንዝ ዳር፣ ቁጥቋጦ ውስጥ የተደበቀ ጎረምሳ አገኘች። «እህቴ፣ ውኃ አለሽ?» ሲላት ሰይፏን መዝዛ ተወረወረችበት፤ የሰማችው የዘንጋድን ድምፅ ነበርና። ደግነቱ ሰይፉ እንደ ልማዱ ስቶ ቁጥቋጦውን ቆረጠ።

«ተይ! ተይ! እኔ አይደለሁም፣ ድምፁ ነው!» አለ ጎረምሳው መሬት ላይ ተዘርግቶ።

አውላቸው ይባላል፤ ደጊቱ መቃጠሏን ሰምቶ ከአዳራሹ ያመለጠ ነው። ትርንጎም መሐላዋን ነገረችው። የሰይፍ ጥበብን አርባ ምዕራፍ በቃሉ ይወጣል፤ ሰይፍ ግን ይዞ አያውቅም። ትርንጎ ስትለማመድ እያየ «ምዕራፍ ሰባት ላይ ክርንሽ ይታጠፋል» ሲላት «እስቲ አንተ አሳየኝ» ብላ ሰጠችው። አውላቸው በክብር ሰነዘረና የገዛ ጉልበቱን መታ። ትርንጎ ከዚያ እሳት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች፤ ወዲያው በሳቋ አፈረች።

ከባዱን ወሬ የነገራት እሱ ነው። «ዘንጋድን የሚነካ ሰይፍ የለም። ማሚቶ ዙፋኑ ሥር ታስሯል። ምት ሲሰነዘር ከየት እንደመጣ ያይና ወደ መቺው ይመልሰዋል። ሊገድሉት የገቡ ጀግኖች ሁሉ የወደቁት በገዛ ምታቸው ነው።»

ትርንጎ ሰይፏን ትክ ብላ አየች። «ይህ ሰይፍ ከየት እንደሚመጣ ግን እኔም አላውቅም» አለች።

እና መማር ጀመረች፤ እማማ ባሳየቻት መንገድ፣ በመሳት። የአዳራሹን ገደል ዶርዳሞች የሚባሉ የነሐስ መንቁር ያላቸው ክንፋም አውሬዎች ይጠብቁታል። የመጀመሪያውን አንገቱን ብላ ጅራቱን መታች፤ አውሬውም ትከሻዋን ቦጨቀው። ሁለተኛውን ክንፉን ብላ ድንጋይ መታች። እየደማች፣ እየተሳደበች፣ የሰይፉን ጠማማነት ልክ እጇ አወቀው። የመጨረሻውን ዶርዳም ባዶ አየር ላይ አልማ ልቡን አገኘችው። አውላቸው አፉን ከፍቶ ቀረ፤ ይህ በየትኛውም ምዕራፍ አልነበረም።

አዳራሹ ሲገቡ ልጆቹ በመደዳ ተቀምጠው በአንድ ጎርናና ድምፅ ይደግማሉ። ከመካከላቸው የዝግባው ልጆችም ነበሩ። ትርንጎን አይተው «ገብቶናል ጌታችን» አሉ። ሰይፏን መዘዘች።

ዘንጋድ ከዙፋኑ ሳይነሳ ፈገግ አለ። «ደግሞ አንዷ መጣች። በይ ምቺ፣ ልጄ።»

«ልጅህ አይደለሁም፤ አንተ!» አለችው። በናሕርማ ሊቀ ቃልን አንተ ያለ ሰው ኖሮ አያውቅም። ፈገግታው ጠፋ።

ከዙፋኑ በስተቀኝ ያለውን ምሰሶ አልማ ሰነዘረች። ማሚቶ ጭጋጋማ ራሱን ወደ ምሰሶው አዞረ፤ ሰይፉ በግራ መጥቶ የዘንጋድን እጅ ከያዘው የሹመት በትር ጋር ቆርጦ ጣለው። ሊቀ ቃል እየጮኸ ከዙፋኑ ወደቀ። ትርንጎ ደረቱ ላይ ቆመች። የእማማ ስም ምላሷ ጫፍ ደርሷል።

ያን ጊዜ ማሚቶ በሺህ ሕፃናት ድምፅ ተናገረ። «አሁን ከገደልሽው እሱ ይሞታል፤ ድምፁ ግን በእነዚህ ሁሉ አፍ ይኖራል። የልጆቹ ድምፅ እኔ ውስጥ ታስሯል። ሰንሰለቴን የሚፈታው በፈቃድ የተሰጠ አንድ ድምፅ ነው፤ ያውም ሊናገር ሲጓጓ የኖረውን ቃል ገና ያልተናገረ። ቃሉ ከወጣ ባዶ ድምፅ በር አይከፍትም።»

«ምለሻል እኮ፤ ጩኺበትና ግደይው!» አለ አውላቸው። ያለው ግን በዘንጋድ ድምፅ ነበር።

ትርንጎ ይህን ስትሰማ ሁሉም ነገር ገባት። እማማን ያቃጠላት ድምፅ በዚህ ደግ ልጅ አፍ እስኪያረጅ ሊኖር ነው፤ ከዚያም በልጆቹ አፍ። ይህ ምን ዓይነት በቀል ነው? ዘንጋድን ከሥሩ ልትነቅለው ነበር የመጣችው። ያቺን አንዲት ቃል ደግሞ ከነፍሷ ይልቅ ትወዳታለች። በንዴት አለቀሰች፤ ከአመዱ ቀን ወዲህ ያለቀሰችው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«ውሰደው» አለችው ማሚቶን። የመጨረሻ ቃሏ ይኸው ሆነ።

ሰንሰለቱ ተበጠሰ። ማሚቶ የትርንጎን ድምፅ ይዞ እንደ ነፋስ በመስኮቶቹ ወደ ተራራው ወጣ፤ አዳራሹ በቀጫጭን፣ በተኮላተፉ፣ በተለያዩ ድምፆች ተሞላ። ዘንጋድ መሬት ላይ እየተንፏቀቀ «ማነው? ማነው የላከሽ?» አላት። ትርንጎ አፏን ከፈተች፤ ምንም አልወጣም። ሰውየው ይህን አይቶ ሊስቅ ቃጣው።

«ደ... ደጊቱ!» የሚል ቀጭን የሚንቀጠቀጥ ድምፅ ተሰማ። አውላቸው ነበር፤ ድምፁን እሱም አላወቀውም። ቀጥሎ የዝግባው ልጆች ጮኹ፤ ከዚያ ሁሉም። «ደጊቱ! ደጊቱ!» ዘንጋድ ጆሮውን በአንድ እጁ መድፈን አቃተው። ሙሉውን ሰማ። ትርንጎ ከጎኑ ያለውን ባዶ ወለል አለመች፤ ሰይፉም ስቶ አገኘው።

ዛሬ ከአመዱ ላይ አዲስ ዝግባ በቅሏል። ትርንጎ ታስተምራለች፤ ለልጅ ብረት ወይም ጭቃ ታስይዝና ዝም ትላለች። ጠማማው ሰይፍ ጫፉ ላይ ነው፤ ከሁሉ በታች፣ ፍየል በሚደርስበት ቅርንጫፍ፣ የዘንጋድ በትር ተንጠልጥሏል። «ይሄስ የማን ስህተት ነው?» ብለው አዲስ ልጆች ሲጠይቁ አውላቸው «የሁላችንም። ልጆቻችንን ሰጥተነዋል» ይላቸዋል። በትሩን ከዚያ እናውርደው ያለ ሰው ከትርንጎ ጋር ይጣላል።

ሲመሽ ልጆቹ ከገደሉ አፋፍ ቆመው የእማማን ስም ይጣራሉ። ተራራው በየድምፃቸው አይመልስላቸውም። «ደጊቱ!» ብሎ የሚመልሰው በትርንጎ ድምፅ ነው፤ እሷም ሥራዋን አቁማ ትሰማዋለች።