ከአሬሮ የመጡት ሽማግሌዎች

ሌንጮን መጀመሪያ ያየሁት በረንዳችንን ሲያፈርስ ነው። ጠዋት የስፌት መኪናዬን ላወጣ በሩን ስከፍት፣ አንድ ረጅም ሰው መሰላል ላይ ቆሞ የጣሪያውን እንጨት በመዶሻ ይነቅላል። አቧራው በሙሉ ፀጉሬ ላይ ወረደ።

«አንተ፣ ምን እያደረግክ ነው?»

«አካም፣ ናጋ?» ብሎ በኦሮምኛ ደህንነቴን ጠየቀኝ ከላይ ሆኖ። የሚያስቸኩል ነገር ያለበት አይመስልም።

«ናጋውን ተወውና ውረድ። የማንን ቤት ነው የምታፈርሰው?»

«አላፈርስም፣ እያደስኩ ነው። ወረቀት በበር ስር አስገብተን ነበር... አላነበባችሁም?»

ወረቀቱን አባቴ አንብቦ ፍራሽ ስር ከትቶታል። ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው።

«ስንት ቀን ይፈጃል?»

«ሦስት ሳምንት።»

«ሦስት ሳምንት የት ቁጭ ብዬ ልስፋ? ጭንቅላትህ ላይ?»

ከመሰላሉ ወረደ። ጭንቅላቱን ዳበስ ዳበስ አደረገና «መኪናው ከባድ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ሳቄን ለመያዝ ከንፈሬን ነክሼ ወደ ቤት ገባሁ።

ሰፈራችን አሮጌ ገበያ ይባላል። ነጌሌ ትንሽ ሳለች ነጋዴዎች የሠሯቸው፣ ረጅም የእንጨት በረንዳ ያላቸው ቤቶች ግራና ቀኝ ተደርድረዋል። ገበያው ወደ ላይ ሲሄድ ቤቶቹን የወታደር ቤተሰብ፣ ጡረተኛና መምህር ገዛቸው፤ ጣሪያቸውም ማፍሰስ ጀመረ። ከዚያ ከተማው ከማፍረስ ማደስ ይሻላል አለ። መንገዱ ድንጋይ ተነጠፈበት፣ በረንዳዎቹ ተጠገኑ፣ በር ሁሉ ሰማያዊ ይቀባ ተባለ። በቀለሙ ምክንያት ሰፈሩ ለሁለት ተከፈለ፤ ጎረቤታችን እትዬ በዛብሽ «አረንጓዴ ካልሆነ» ብለው ሁለት ወር ሙሉ ሰላምታ ነሱን። አንድ ግመል ደግሞ አዲሱን ድንጋይ አልረግጥም ብሎ ቆሞ ግማሽ ቀን መንገድ ዘግቷል። እንዲህ እንዲህ እያልን ነው የታደስነው።

አባቴ፣ ሃምሳ አለቃ ወልደገብርኤል፣ ጠቡ ከቀለሙ ጋር አልነበረም። ቤቱ ሲታደስለት ባለቤቱ «ለአሥር ዓመት አልሸጥም» ብሎ መፈረም አለበት። በበር ስር የገባው ወረቀት የሚለው ይህንኑ ነው፤ አባቴ አልፈርምም አለ። ከደብረ ታቦር ወደ ነጌሌ ጦር ሰፈር ከመጣ ሃያ አራት ዓመቱ ነው፤ እኔ ልጁ ትንቢት የተወለድኩት፣ እናቴም የተቀበረችው እዚሁ ነው። እሱ ግን ሰው በጠየቀው ቁጥር «እኛ ጊዜያዊ ነን» ይላል። ጡረታ ከወጣ በኋላ እንኳ ግቢያችን ውስጥ አንድ ዛፍ አልተከለም።

በረንዳው ከጎረቤት ጋር የተያያዘ ስለሆነ እሱ ባይፈርምም ሥራው ቀጠለ። እኔ መኪናዬን ይዤ ፊት ለፊት ወዳለው የጋሽ ሳሊም ሱቅ ደጅ ተሻገርኩ። ከዚያ ሆኜ ሌንጮን ቀኑን ሙሉ አየዋለሁ። መቼም ዓይን አይታሰርም።

በሁለተኛው ቀን ጉልበቱ ላይ የተቀደደ ሱሪ ይዞ መጣ። ሰፋሁለት። በአራተኛው ቀን ያው ሱሪ እዚያው ቦታ ተቀዶ መጣ። ሰፋሁለት። በሳምንቱ ሦስተኛ ጊዜ ሲያመጣው ቀዳዳውን ወደ ብርሃን አዙሬ አየሁት፤ ጠርዙ ቀጥ ያለ ነው።

«ይህ ሚስማር አይደለም» አልኩት።

«ምን ይመስልሻል?»

«ምላጭ።»

መሬት መሬቱን ያይ ጀመር። ጋሽ ሳሊም ከውስጥ ሆነው ጉሮሯቸውን ጠራረጉ።

«ሱሪው ምን አደረገህ፣ ሌንጮ?» አልኩት። «ዝም ብለህ ና። ሰው ሱሪ ሳይቀድም መምጣት ይችላል።»

ከዚያ በኋላ ሱሪ ሳይቀድ መጣ። ሦስቱ ሳምንት ሁለት ወር ሆነ፤ ሥራው ስለበዛ አይደለም። ወደድኩት። ሰው ሲያናግር መዶሻውን መሬት አስቀምጦ መስማቱን፣ የዕውቅ ነጋዴንም የለማኝንም ቤት እኩል ማስተካከሉን ወደድኩለት። አባቴ የጠየቀው አንድ ነገር ሃይማኖቱን ነበር፤ ሌንጮ ነጌሌ ተማሪ እያለ ክርስትና መነሳቱን ሲሰማ «ይላክ እንግዲህ፤ አያለሁ» አለ።

ሌንጮ ዜናውን ሲነግረኝ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ነበር።

«እሁድ አጎቴ ኦቦ ዱቤ ከአሬሮ ይመጣሉ። ሽማግሌ ይዘው።»

«አንተስ?»

«እኔ አልመጣም። በእኛ ቤት ደንብ፣ ሽማግሌ ከተነሳ መልስ እስኪመጣ ልጁ ልጅቷን አያናግርም።»

«ስንት ቀን?»

«ሰባት ቀን። ትችያለሽ?»

«አንተ ከቻልክ እኔም እችላለሁ» አልኩት። ያን ጊዜ የተቀረውንም ደንብ ብጠይቀው ኖሮ ይህን ታሪክ የምጽፍበት ምክንያት አይኖርም ነበር።

እሁድ አባቴ ካፖርቱን ለበሰ። በእሱ አገር ለጋብቻ የመጣ ሽማግሌ ተቀመጡ ሲባል አይቀመጥም፤ «ጉዳያችንን ሳንናገር» ብሎ ይቆማል፣ ቆሞ ይናገራል፣ ከዚያ ይቀመጣል። አባቴም የሚሰጠውን መልስ ከጠዋት ጀምሮ ሲለማመድ ሰምቼዋለሁ።

ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። ኦቦ ዱቤ ከፊት ነበሩ። አባቴ «ተቀመጡ» አለ። ተቀመጡ። አባቴ ደነገጠ።

አንደኛው እያስተረጎሙ ናጋ ተጠያየቁ። የሰው ናጋ፣ የከብት ናጋ፣ የሣር ናጋ። ሁለት ዶሮ ብቻ ነው ያለን፤ እነሱም ደህና ናቸው ተባለ። ስለ ዝናብ ተወራ። ሻይ ጠጡ፣ በረንዳውን አዩ፣ እንደገና ስለ ዝናብ ተወራ። ሁለት ሰዓት ቆይተው መርቀው ተነሱና ሄዱ። ስለ እኔ አንድ ቃል አልወጣቸውም። አግዳሚው ላይ በጨርቅ የታሰረ ትንሽ ጥቅል ቀርቷል፤ ውስጡ ከነገለባው ያለ ቡናና ትምባሆ ነው።

አባቴ ካፖርቱን ሳያወልቅ ብዙ ጊዜ ቆመ።

«አይተውን ነው የተመለሱት» አለ። «ቤቱን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ተዉት። ሰው ሽማግሌ ሆኖ መጥቶ ስለ ደመና አውርቶ ይሄዳል?»

«ምናልባት ሌላ ቀን...»

«ተይኝ፣ አንቺ ትንቢት። ንቀት ሳየው አውቀዋለሁ። ዕቃቸውን እንኳ ረስተው ነው የሄዱት። የሰው ዕቃ ቤቴ አያድርም፤ ውሰጂና ለልጁ ስጪው።»

ልቤ ተሰብሮ ነበር፤ ከመሰበሩ ይልቅ ግን መናደዱ ይበልጥ ነበር። ጥቅሉን ይዤ ወጣሁ። ሌንጮ መንገዱ መጨረሻ ላይ ከሠራተኞቹ ጋር ቆሟል። ስመጣ ሲያየኝ ፊቱ በራ። ጥቅሉን ሲያይ ግን ቀለሙ ሁሉ ከፊቱ ሸሸ።

«ዘመዶችህ ረስተውት ሄዱ» አልኩት።

አልተቀበለኝም። «አንቺ ራስሽ ነሽ ያመጣሽው?»

«ማን እንዲያመጣልህ ፈልገህ ነበር?»

ሠራተኞቹ ሁሉ ወሬያቸውን አቁመው ያያሉ። ሌንጮ ሁለት እጁን ዘርግቶ ተቀበለኝ፤ ጎንበስ አለና ሄደ። ዝም ያለው በዘመዶቹ አፍሮ መሰለኝ። በማግስቱ አልመጣም። ከዚያ በኋላም አልመጣም፤ የቀረውን በረንዳ ሌላ ሰው ጨረሰው፤ እኔ ግን መኪናዬን ከጋሽ ሳሊም ደጅ አላነሳሁም።

ኦሮምኛ እንደ ውሃ ነው የምናገረው። ከሰፈር ልጆች ጋር ተሰዳድቤበት፣ ቀልጄበት ነው ያደግሁት። ግን ቋንቋ ማወቅ ሌላ፣ የሰው ቤት ደንብ ማወቅ ሌላ። አንድ ወር ሙሉ ጥርሴን ነክሼ ዩኒፎርም ሰፋሁ። ሰው ሲጠይቀኝ ደህና ነኝ እላለሁ። ደህና አልነበርኩም።

አንድ ከሰዓት ጋሽ ሳሊም ሱቃቸው ውስጥ ሆነው «ትንቢት» አሉኝ። «አይመለከተኝም። ግን ያ ልጅ ምን በደለሽ?»

«እኔን ነው የሚጠይቁኝ? ዘመዶቹ ናቸው እንጂ የናቁን።»

«የናቁሽ? ትምባሆውን ከእኔ ሱቅ ነው የገዙት። ዋጋ እንኳ አልተከራከሩም። አንቺ መለስሽባቸው እንጂ።»

«ረስተውት ሄደው ነዋ።»

ጋሽ ሳሊም መነጽራቸውን አወለቁ። «ልጄ፣ የሚረሳ ነገር መሰለሽ? የእነሱ ሽማግሌ በመጀመሪያው ቀን ጉዳዩን አያነሳም፤ ቡናና ትምባሆ ትቶ ይሄዳል። ሰባት ቀን ካደረ እሺ ማለት ነው። ከተመለሰ እምቢ ነው። በአባት እጅ ቢመለስ ይሁን፣ ይለመናል። በልጅቷ በራሷ እጅ ከተመለሰ ግን... አለቀ።»

ቆሜ ነበር፤ ተቀመጥኩ። ሰው ፊት በገዛ እጄ «አልፈልግህም» ብዬዋለሁ። እሱም በሁለት እጁ ተቀብሎኛል።

ለአባቴ ነገርኩት። ሰምቶ እንደጨረሰ ተቆጣ።

«ታዲያ ለምን አይናገሩም? አፍ የላቸውም?»

«አንተስ ለምን አልጠየቅካቸውም?»

«ሽማግሌ ይጠየቃል እንዴ?»

በረንዳው ላይ ወጥቶ ተመለሰና «ደግመው ይላኩ» አለ።

«አይልኩም። አንዴ የመለሳቸውን ደጅ ሁለተኛ አይረግጡም።»

«እኔም አልሄድም። በእኛ አገር የሴት አባት ልጁን ይዞ አይዞርም፤ ነውር ነው።»

«አውቃለሁ፣ አባዬ። ሂድ አላልኩህም።»

አልቅሼ አላውቅም ነበር እሱ ፊት። ያን ቀን አለቀስኩ። ሁለት ቀን አላናገረኝም። በሦስተኛው ጠዋት ካፖርቱን ለብሶ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት።

«ተነሺ። አሬሮ እንሄዳለን። ያላንቺ ማን ያስተረጉምልኛል?»

እዚህ ላይ ነው ችግሩ። አባቴ በሃያ አራት ዓመት የያዘው ኦሮምኛ ከገበያ አያልፍም። ኦቦ ዱቤም አማርኛቸው ከሰላምታ አያልፍም። የራሴን የጋብቻ ልመና የማስተረጉመው እኔው ነኝ። እንዲህ ያለ ጉድ ሰምታችሁ ታውቁ እንደሆነ አላውቅም።

ሌንጮ አልነበረም፤ ሜጋ ከተማ ሥራ ይዞ ሄዷል። ኦቦ ዱቤ ደጃቸው ላይ ተቀብለው እንድንቀመጥ በርጩማ አሳዩን። አባቴ አልተቀመጠም።

«ጉዳዬን ሳልናገር አልቀመጥም በያቸው።»

አልኩ። ኦቦ ዱቤ ገርሟቸው «በእኛ ደጅ የሚቆም ሰው ሀዘን ያለበት ነው» አሉ። ለአባቴ ነገርኩት።

«አለብኝ» አለ አባቴ። «ደንባችሁን ሳላውቅ ዕቃችሁን መለስኩ። ልጄ አታውቅም፤ ያዘዝኳት እኔ ነኝ። ልጄን አሳዝኛለሁ። ይህን በያቸው።»

«አባዬ፣ ይህን እንዴት ብዬ...»

«በያቸው።»

አንገቴን ደፍቼ በኦሮምኛ አልኩት። ኦቦ ዱቤ አልቸኮሉም። በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው መለሱ፤ እኔም ወደ አባቴ ዞሬ አስተረጎምኩ።

«ስህተት ከሆነ ስህተት ነው፤ ይቅር እንላለን ይላሉ። ግን ልጃችን የነገረን ሌላም ነገር አለ ይላሉ። ሃምሳ አለቃው ቤቱን አልፈረመም፣ ነገ ወደ አገሬ እገባለሁ ይላል። እኛ ልጅ ስናመጣ ቤቷንም አብረን ነው የምንይዘው። ብትከፋ የምትገባበት፣ ብንጣላ ተሸማግለን የምንታረቅበት ደጅ ያስፈልገናል። መንገደኛ ሰው ይህ የለውም ይላሉ። አገሩ የት ነው ብለሽ ጠይቂልን ብለዋል።»

አባቴ በረት ያሉትን ከብቶች አየ፣ እኔን አየ። ደብረ ታቦር የሚል መሰለኝ፤ ሃያ አራት ዓመት ሌላ መልስ ሰጥቶ አያውቅም። ቢለውም ላስተረጉምለት አፌን ከፍቼ ነበር።

አልጠበቀኝም። ወደ ኦቦ ዱቤ ዞሮ በተሰባበረ ኦሮምኛ «ቢያ ኪያ ነጌሌ» አለ። አገሬ ነጌሌ ነው። ከዚያ ሚስቱ እዚያ እንደተቀበረች ሊነግራቸው ፈለገና ቃሉ ጠፋው፤ እጁን ወደ መሬት እያሳየ ስሟን ብቻ ጠራ።

«ዓለሚቱ።»

ኦቦ ዱቤ እንዳስተረጉምላቸው አልጠየቁኝም። ተነስተው የአባቴን ክንድ ይዘው በርጩማው ላይ አስቀመጡት። ከዚያ ወተት እንዲመጣ አዘዙ።

ሌንጮ በአምስተኛው ቀን ከሜጋ መጣ። ጋሽ ሳሊም ሱቅ ደጅ፣ መኪናዬ ፊት ቆመ። ከስቷል።

«ለምን አልጠየቅከኝም?» አልኩት። «አንድ ቃል። ‹እምቢ ማለትሽ ነው?› ብትለኝ ምን ነበረበት?»

«ከእጅሽ ተቀብዬ ምን ብዬ ልጠይቅሽ?»

«ከእንግዲህ የምታውቀውንም ጠይቀኝ።»

«እሺ» አለና ትንሽ አሰበ። «ትወጂኛለሽ?»

«ይህን እንኳ ታውቀዋለህ።»

«የማውቀውንም ጠይቅ አልሽኝ እኮ።»

«እወድሃለሁ» አልኩት። ጋሽ ሳሊም ጉሮሯቸውን ጠራረጉ፤ ያን ቀን ግድ አልሰጠኝም።

አባቴ ሰኞ ወረቀቱን ከፍራሹ ስር አውጥቶ ፈረመ። ሰርጉ በሚያዝያ እንዲሆን ተቆረጠ። በዚያው ሳምንት ከደብረ ታቦር ታላቅ ወንድሙ ደወለ። እንደ ልማዱ መቼ ነው የምትገባው ብሎ ሲጠይቀው ከስልኩ ይሰማኛል። አባቴ አዲሱ በረንዳ ላይ ወዲያ ወዲህ ይል ነበር።

«እኔ የት እሄዳለሁ?» አለው። «ልጄን እየዳርኩ ነው። እናንተ ኑ እንጂ፤ ቤት አለኝ።»