ያልተላጠው ላስቲክ

መቀሌ ውስጥ ሰው ቤት እንግዳ ሆናችሁ ስትገቡ ሪሞቱን ልብ ብላችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ከተገዛ ዓመታት አልፈውታል፤ የመጣበት ላስቲክ ግን ዛሬም አልወለቀለትም። ላስቲኩ ደብዝዞ ቁጥሮቹ ስለማይታዩ የቤቱ ሰው ቻናል የሚቀይረው በግምት ነው። ሶፋው ላይ ስትቀመጡ ይንኮሻኮሻል። ማቀዝቀዣው በር ላይ የፋብሪካው ወረቀት እንደተለጠፈ ነው።

በዚህ እንስቃለን። በድካም የተገኘ ዕቃ ላይ ሰው ቢሳሳ አይፈረድበትም። ይህ ልማድ ከሳሎናችን ወጥቶ የሕዝብ አገልግሎት የሚሰጥበት ቤት ሲገባ ግን የሚያስቅ ነገር የለውም። ፍሬወይኒን ያስለቀሳት እሱ ነው፤ እሷ ደግሞ በቀላሉ የምታለቅስ ልጅ አይደለችም።

ፍሬወይኒ የሕግ ተማሪ ናት። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ማየት የተሳናት ስትሆን፣ እናቷ ወይዘሮ ለተመድህን ቀዳማይ ወያነ ገበያ በርበሬና ሽሮ እየሸጡ አሳድገዋታል። የምትማርበትን ዩኒቨርሲቲ ምዕራፍ ብዬ ልጥራው፤ ትክክለኛ ስሙን መጥራት አያስፈልግም። በዚያ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት፣ ከመግቢያው በስተቀኝ፣ «የድምፅ ንባብ ክፍል» የሚባል ክፍል ተከፈተ። አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ጽሑፍን ወደ ድምፅ የሚቀይር ፕሮግራም የተጫነባቸው ኮምፒውተሮች ለግሶ ነበር።

የምረቃው ዕለት ሪባን ተቆረጠ። ፍሬወይኒን ካሜራ ፊት ካለ ኮምፒውተር ጋር አስቀመጧትና የጆሮ ማዳመጫ አደረጉላት። አንድ ድምፅ የሕግ መጽሐፍ ማንበብ ጀመረ። አንዷን ቁልፍ ስትጫን ወደ ኋላ ተመልሶ ያነብላታል፤ ደግማ ስትጫን ደግሞ ያነብላታል። አያዛጋም፤ ስልክ አይደወልለትም፤ «ገባሽ አይደል?» ብሎ አይቸኩልም። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድን ገጽ የማንንም ፊት ሳትፈራ አነበበች።

ካሜራው ሲወጣ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ አቶ ገብረሃንስ ማዳመጫውን ከጆሮዋ ላይ ቀስ አድርገው አወለቁት።

«በይ ጓለይ፣ በይ ልጄ፣ ተመረቀ እንግዲህ» አሏት። ማዳመጫውን ወደ ላስቲኩ መለሱ፣ ኮምፒውተሮቹን አለበሱ፣ በሩን ቆለፉ።

በማግስቱ በዩኒቨርሲቲው ገጽ ላይ «አዲስ የቴክኖሎጂ አገልግሎት ተጀመረ» የሚል ዜና ከፍሬወይኒ ፎቶ ጋር ወጣ። ወይዘሮ ለተመድህን ፎቶውን በስልካቸው ይዘው በርበሬ ለሚገዛ ሁሉ ያሳዩ ነበር።

ክፍሉ ግን ከዚያ ቀን በኋላ ለተማሪ አልተከፈተም። እንግዳ ሲመጣ ይከፈታል፣ ልብሱ ይገለጣል፣ እንግዳው ያደንቃል፣ መልሶ ይቆለፋል። ፍሬወይኒ እንደ ድሮዋ በሰው አፍ ማንበቧን ቀጠለች። የሚያነብላት የክፍል ጓደኛዋ አብርሽ ነበር። ደግ ልጅ ነው፤ ትዕግሥቱ ግን አጭር ነው።

«አብርሽ፣ ዘለልክ።»

«እንዴት አወቅሽ?»

«ገጽ ስትገልጥ ሁለቴ ተሰማኝ።»

«ያ አንቀጽ እኮ ብዙም አይጠቅምም!»

«እሱን እኔ ልወስን።»

«ወይ ጉድ! አንቺ ዳኛ የሆንሽ ቀን ለጠበቃ ወዮለት» ይልና እየሳቀ ወደ ዘለለው ገጽ ይመለሳል።

ፍሬወይኒ ለመመረቅ የቀራት የመውጫ ፈተናው ብቻ ነው። መቀሌ አጠገብ ቁሓ ውስጥ ባለ አንድ ነፃ የሕግ ድጋፍ ቢሮ ተለማምዳ ነበር፤ የቢሮው ኃላፊ ወይዘሮ ኣኽበረትም ሥራዋን ወደውላት፣ «ፈተናውን አልፈሽ ዲግሪሽን ይዘሽ ነይ እንጂ ወንበሩን አቆይልሻለሁ» ብለዋታል። ወንበሩ ማለት ደመወዝ ነው። ደመወዙ ደግሞ እናቷን ከፀሐይና ከበርበሬ ብናኝ የሚያሳርፍ ነው።

በዚያ ዓመት ማየት የተሳናቸው ተማሪዎች ፈተናውን የሚወስዱት በድምፅ በሚያነበው ኮምፒውተር እንደሆነ ተነገረ። ፍሬወይኒ በደስታ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ሄደች።

ቢሮው ውስጥ አቶ ገብረሃንስ ከሩት ጋር ነበሩ። ሩት የቤተ መጻሕፍቱ የኮምፒውተር ባለሙያ ናት፤ ከደብረ ብርሃን ለሥራ የመጣች፣ ትግርኛዋ ገና ስለሆነ ከሰው ጋር በአማርኛ የምትግባባ። ያን ጊዜም የምታወራው ስለዚያው ክፍል ነበር።

«ጋሼ፣ ኮምፒውተሮቹ ኢንተርኔት ካላገኙ ማሻሻያ አይጫንላቸውም። የንባብ ፕሮግራሙም በጊዜው ካልተመዘገበ ይዘጋል።»

«ማሻሻያ ምን ያደርግለታል? አዲስ እኮ ነው።»

«ቁጭ ሲልም ያረጃል ጋሼ።»

«ሩትዬ፣ ኢንተርኔት ሲገባ ቫይረስ ይዞ ነው የሚገባው። እኔ የፈረምኩት በጤነኛ ኮምፒውተር ነው። ታሞ ቢገኝ አንቺን የሚጠይቅሽ የለም፤ እኔን ነው።»

ፍሬወይኒ በትሯን እያንኳኳች ገባች።

«ኣቦይ ገብረሃንስ፣ ከመይ ውዒልኩም? ኮምፒውተሮቹስ እንዴት ዋሉ?»

«ደህና ናቸው፣ ምንም አልሆኑም።»

«አልነቁም እስካሁን?»

ሩት ሳቋን መያዝ አቃታት። አቶ ገብረሃንስም ፈገግ አሉ። «አንቺ ልጅ፣ ይሄ ምላስሽ!»

«ፈተናው ደረሰ። ቁልፎቹን በእጄ ሳልለምድ መቀመጥ አልችልም። በቀን ትንሽ ትንሽ ልለማመድ።»

«የፈተናው ሳምንት እከፍትልሻለሁ። እስከዚያ ማንም አይነካውም። ተማሪ ሲነካው ይበላሻል።»

«ኣቦይ፣ እኔ እኮ የማየው በመንካት ነው።»

አቶ ገብረሃንስ ኪሳቸው ውስጥ ያለውን ቁልፍ ዳሰሱ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ክፉ ቢሆኑ ኖሮ ይህን ታሪክ ማውራቱም በቀለለኝ። በጦርነቱ ጊዜ ያ ቤተ መጻሕፍት ተዘርፏል። እሳቸው ሲመለሱ መደርደሪያው ወድቆ፣ ኮምፒውተር የነበረበት ጠረጴዛ ባዶውን ቀርቶ አገኙት። ከዚያ በኋላ አጣሪ በመጣ ቁጥር የሚጠየቁት «በስምዎ የተመዘገበው ንብረት የት አለ?» ተብለው ነው። ጦርነቱን መጠየቅ ያልቻለ ሁሉ እሳቸውን ጠየቀ። አንድ ሰው በስሙ ፈርሞ የተረከበውን ዕቃ ከልጁ አስበልጦ የሚፈራው እንዲህ ነው።

«ጓለይ፣ አትቀየሚኝ» አሉ በመጨረሻ። «ሽቦው ከግድግዳው ተነቅሎ ተንጠልጥሎ አይቻለሁ። ያንን ያየ ሰው ቁልፍ ቢወድ አትፍረጂበት። የማስቀምጠው ላንቺው ነው።»

«ለእኔ ከሆነ ይስጡኛ።»

«እሰጥሻለሁ። በጊዜው።»

ፍሬወይኒ ከዚያ በኋላም ተመላልሳ ጠየቀች። ሩትም በለሰለሰ ድምፅዋ ደጋግማ ተናገረች። መልሱ ያው ነበር።

የፈተናው ሳምንት ደረሰና አቶ ገብረሃንስ ቃላቸውን ጠብቀው በሩን ከፈቱ። ደስ ብሏቸው ነበር፤ ይህንንም መመስከር አለብኝ። የኮምፒውተሮቹን ልብስ አንድ በአንድ ገለጡ። «አየሽ ሩት? አንድ ጭረት የለባቸውም!» አሉ።

እውነታቸውን ነው፤ ጭረት አልነበራቸውም።

ሩት ሶኬቱን ሰካች። መብራት ሲጠፋ ኃይል እንዲይዝ የተቀመጠው ባትሪ ሲጥ አለና ሞተ፤ ሳይሞላ ከርሞ ደርቋል። ኮምፒውተሩ ተነሣ፤ ሲነሣ ግን ሳይጫን የተከማቸውን ማሻሻያ ሁሉ በአንድ ጊዜ ጠየቀ። ሩት ከኢንተርኔት ጋር አገናኘችው። ቀኑን ሙሉ ሲዞር ዋለ። መሐል ላይ መብራት ሄደ፤ ሲመጣ ከመጀመሪያው ጀመረ። ፍሬወይኒ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ፣ ጣቶቿን ቁልፎቹ ላይ ዘርግታ ትጠብቃለች። በስተመጨረሻ የንባብ ፕሮግራሙ ሲከፈት ስክሪኑ ላይ አንዲት አጭር ጽሑፍ ወጣች። ሩት ጎንበስ ብላ አነበበቻት።

«ምን ይላል?» አሉ አቶ ገብረሃንስ።

«የመመዝገቢያው ጊዜ አልፏል ይላል። ፕሮግራሙ ተዘግቷል።»

ሌሎቹን ሞከሩ። ሁሉም ያው ነው። ሩት ወደ ለጋሹ ድርጅት ደወለች፤ ፕሮጀክቱ ስላበቃ አዲስ ጥያቄ አቅርባችሁ ተራ ጠብቁ አሏት። በነፃ የሚገኝ ሌላ ፕሮግራም ልታወርድ ፈለገች፤ ፈተናው ላይ የሚፈቀደው ግን አስቀድሞ የተመዘገበው ብቻ ነበር።

«ማን ነካው?» አሉ አቶ ገብረሃንስ፣ ድምፃቸው ከፍ ብሎ። «ቁልፉ ከእኔ እጅ ወጥቶ አያውቅም! ማን ነው የነካው?»

«ማንም አልነካውም ጋሼ» አለች ሩት። «ማንም።»

ፍሬወይኒ ማዳመጫውን ከጆሮዋ አወረደች። ጠረጴዛውን በእጇ ስትዳስስ ላስቲኩን አገኘችው። ማዳመጫውን በጥንቃቄ ላስቲኩ ውስጥ ከተተችና ወደ አቶ ገብረሃንስ ዘረጋችላቸው።

«ያስቀምጡት ኣቦይ። አዲስ ነው።»

ያለቀሰችው ውጭ ደረጃው ላይ ከተቀመጠች በኋላ ነው። ሩት አጠገቧ ቁጭ አለች።

ለፈተናው ዕለት የሚያነብላት ሰው ተፈለገ። የተገኘው ሕግ ያልተማረ የሌላ ትምህርት ክፍል መምህር ነው። የሕጉ ቃላት እየተደናቀፉበት አነበበ። «እባክዎ ይድገሙልኝ» ስትለው መጀመሪያ ደገመላት፤ በኋላ ግን «ሁለቴ አነበብኩልሽ እኮ እህቴ» አላት፣ በረጅሙ እየተነፈሰ። ከዚያ ወዲያ ለማስደገም አፈረች። ሰዓቱ ሲያልቅ ጭራሹን ያልተነበቡላት ጥያቄዎች ነበሩ። ውጤቱ ሲወጣ በጥቂት ነጥብ ወደቀች።

ቀጣዩ የፈተና ዙር ሩቅ ነበር። የቁሓው ቢሮ ያን ያህል መጠበቅ አልቻለም፤ ባለጉዳይ በሩ ላይ ተሰልፏል። ወይዘሮ ኣኽበረት እያዘኑ ሌላ ሰው ቀጠሩ።

አንድ ቀን አብርሽ ወደ ገበያው መጣ። ከፍሬወይኒ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጦ ስለ ታክሲ ወረፋ አወራ፣ ስለ ኳስ አወራ፣ ስለ ሙቀቱ አወራ። እሷ እስኪጨርስ ሰማችው።

«አብርሽ፣ ዘለልክ» አለችው።

አብርሽ ዱካውን ወደ እሷ አስጠጋ። «ቁሓ… እኔን ነው የቀጠሩኝ፣ ፍሬ። ሥራው ያንቺ እንደነበር እያወቅኩ ነው የገባሁት።»

«እንኳን አንተ ሆንክ» አለች። ቆይታ ግን ጨመረች፦ «የባለጉዳይ ወረቀት ስታነብ አንቀጽ እንዳትዘል።»

አቶ ገብረሃንስ ውጤቱን ከሰሙ ወዲህ እንቅልፍ አጥተዋል። ቤታቸው ገብተው ሶፋው ላይ ሲቀመጡ የላስቲኩ ድምፅ ያን ቀን ፍሬወይኒ ማዳመጫውን ስትከት የሰሙትን እየመሰላቸው ይነሣሉ። አንድ ቅዳሜ ባለቤታቸው እያዩ ላስቲኩን ከሶፋው ላይ ገፈው ጣሉትና በቀጥታ ወደ ቀዳማይ ወያነ ገበያ ሄዱ።

ወይዘሮ ለተመድህን ቀና ብለው አዩዋቸው። «እርስዎ የፎቶው ሰውዬ አይደሉም?» አሉ። እውነትም በዚያ ፎቶ ላይ ከፍሬወይኒ ኋላ ፈገግ ብለው የቆሙት እሳቸው ናቸው።

«ነኝ» አሉ አንገታቸውን ደፍተው። «ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት። እኔ ሌባ ስጠብቅ ነበር። ሌባው እኔው ሆኜ ተገኘሁ።»

ወይዘሮ ለተመድህን በርበሬ መስፈራቸውን ቀጠሉ። ፍሬወይኒ ግን እጇን ዘረጋች።

«ቁልፉን ይዘዋል?»

ከኪሳቸው አውጥተው መዳፏ ላይ አኖሩት። አውራ ጣቷን በጥርሶቹ ላይ አሳለፈች፤ መልሳም አሳለፈች።

«ይሄም አዲስ ነው» አለች። «ጥርሱ ገና ይቆርጣል።» መለሰችላቸው። «በር ከመክፈት ብዛት ሲደንዝ ያምጡልኝ። ያን ጊዜ ስለ ይቅርታ እንነጋገራለን።»

ዛሬ ክፍሉ ጠዋት ተከፍቶ ማታ ይዘጋል። አቶ ገብረሃንስ ራሳቸው ተመላልሰው ለምነው ፕሮግራሙ እንደገና ተመዝግቧል። ሩት በየሳምንቱ ማሻሻያውን ትጭናለች፣ የፕሮግራሙ ምዝገባ የሚያበቃበትን ቀንም በሩ ላይ ትለጥፋለች። የማዳመጫዎቹ ስፖንጅ ተቀዷል፤ አንዱ ጭራሽ ተሰብሮ፣ መሰበሩ ተመዝግቦ ሌላ ተተክቷል። አቶ ገብረሃንስ በዚህ አልተከሰሱም። እንግዳ ሲመጣ አሁን የሚያሳዩት ፊደላቱ ከመነካት ብዛት የጠፉበትን የቁልፍ ሰሌዳ ነው። ፍሬወይኒም ከሰዓት በኋላ እየመጣች ለቀጣዩ ዙር ትለማመዳለች። ይህ ሁሉ የሆነው ግን ከፈተናው በኋላ ነው፤ የቁሓው ወንበርም ሰው ተቀምጦበታል።

በስማችሁ ፈርማችሁ የሕዝብ ዕቃ የያዛችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ የተረከባችሁት ብረቱንና ላስቲኩን ብቻ አይደለም፤ የሚጠቀምበትንም ሰው ነው። እናንተም ንብረት የምትቆጣጠሩ፣ «ዕቃው አለ ወይ?» ብላችሁ ስትጨርሱ «ማን ተጠቀመበት?» ብላችሁ ጨምሩ። ሁለተኛው ጥያቄ በጊዜው ተጠይቆ ቢሆን ኖሮ አቶ ገብረሃንስም ያን ያህል አይፈሩም ነበር።

ባለፈው ሳምንት ወደዚያ ቤተ መጻሕፍት ጎራ ብዬ ቁልፉን ከበሩ አጠገብ ምስማር ላይ ተንጠልጥሎ አየሁት። በጣቴ ነካሁት።

ገና አልደነዘም።